«ጂስት» ምንድን ነው?

እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ወሬ ሲረዝምባቸው «ጀስት ጊቭ ሚ ዘ ጂስት» ይላሉ። ዝርዝሩን ተወውና ፍሬ ነገሩን ንገረኝ ነው ነገሩ። የእንግሊዝኛ ፊደሉን (gist) አይቶ «ጊስት» የሚል ሰው አይጠፋም፤ አነባበቡ ግን በ«ጂ» ነው።

የቃሉ መነሻ ፍርድ ቤት ነው። ከፈረንሳይ የመጡት ኖርማኖች እንግሊዝን ከወረሩ በኋላ የአገሪቱ የሕግ ሰዎች ለብዙ ዘመን በፈረንሳይኛ ይሠሩ ነበር። ክስ የቆመበትን መሠረት የሚናገሩትም «ጂስት» በሚል ግስ ነበር፤ «ያርፋል» ማለት ነው። መሠረቱ ከተናደ ክሱም አለቀለት። ከፍርድ ቤት ወጥቶ በማንኛውም ወሬ ላይ መዋል የጀመረው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው።

ብዙ ሰው ከማጠቃለያ ጋር ያምታታዋል። ሁለት ሰዓት የፈጀ ስብሰባ አመለጣችሁ እንበል። ማጠቃለያ ማን ምን እንዳለ በየተራ ያስነብባችኋል። ጂስቱ ግን «ሥራው ተራዝሟል፣ ገንዘብ የለም» ነው። በቃ። «ክራክስ» የሚባለውም ዘመዱ ነው፤ እሱ ግን ጠበቅ ይላል፤ የጉዳዩን ዋና ቋጠሮ፣ መወሰን ያለበትን ነጥብ ያመለክታል።

«አይ ጋት ዘ ጂስት» ደግሞ ለቋንቋ ተማሪ የታዘዘ አባባል ይመስለኛል። ሁሉም ባይገባኝም ዋናው ገብቶኛል ማለት ነው፤ አያሳፍርም።

የሥነ ልቦና ተመራማሪዎችም ቃሉን ወስደውታል። ቻርልስ ብሬነርድና ቫለሪ ሬይና እንደሚሉት አእምሯችን የሰማውን በሁለት መልክ ይይዛል፦ ቃል በቃሉንና ጂስቱን። ቃል በቃሉ ቶሎ ይጠፋል፣ ጂስቱ ይከርማል። ችግሩ፣ ጂስት አንዳንዴ ያልነበረ ነገር ይጨምራል። ሮዲገርና ማክደርሞት በ1995 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ሙከራ ሰዎች እንደ «አልጋ»፣ «ዕረፍት»፣ «ሕልም» ያሉ ተዛማጅ ቃላትን ሰሙ። ኋላ ሲጠየቁ ብዙዎቹ ከዝርዝሩ ውስጥ ያልነበረውን ቃል፣ ለምሳሌ «እንቅልፍ»ን፣ ሰምተናል ብለው ድርቅ አሉ። «እንዲህ ብለሃል!»፣ «አላልኩም!» የሚል ጭቅጭቅ አንዱ ምንጩ ይኸው ሳይሆን አይቀርም።

አንድ ነገር ልጨምር። ናይጄሪያዊ ጓደኛችሁ «ጂስት ሚ» ካላችሁ ማሳጠር እንዳትጀምሩ። እዚያ ቃሉ ጨዋታ፣ ወሬ፣ ሐሜት ማለት ነው። የሚፈልገው ዝርዝሩን ነው።