ሸሞንሟናዬ፦ ኃይሉ መርጊያ ቤት ውስጥ የቀዳው ካሴት

«ሸሞንሟናዬ» ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ፣ መኖሪያ ቤት ውስጥ በተዘጋጀች ትንሽ ስቱዲዮ ብቻውን የቀዳው ካሴት ነው። ዘፋኝ የለበትም፤ ሁሉም በመሣሪያ ነው።

ኃይሉ የሰሜን ሸዋ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1946 ደብረ ብርሃን፣ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው ብርዳም ከተማ ተወለደ። በልጅነቱ አዲስ አበባ ገብቶ አኮርዲዮን ለመደ። ስሙ የገነነው ግን በዋልያስ ባንድ ኦርጋን ተጫዋችነቱ ነው። ባንዱ ለዓመታት በሂልተን ሆቴል ሠርቷል። እስካሁን ከየሬዲዮው የማይጠፋው «ሙዚቃዊ ስልት»ም የዚሁ ባንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 ዋልያሶች ለሥራ አሜሪካ ሄዱ፤ ከፊሎቹ ሲመለሱ ኃይሉ እዚያው ቀረ።

በዚያን ጊዜ አኮርዲዮን በኦርጋንና በኪቦርድ ተተክቶ ከመድረክ ጠፍቶ ነበር። ኃይሉ የልጅነቱ መሣሪያ ናፈቀው። አንስቶም በአዳዲሶቹ የኤሌክትሪክ ኪቦርዶች መሃል አስቀመጠው፤ ሮድስ ፒያኖ፣ ሙግ ሲንተሳይዘር፣ ያማሃ ዲኤክስ 7። ከበሮውን የሚመታው ማሽን ነው። አንዱን ቀድቶ ሌላውን በላዩ እየደረበ፣ አንድ ሰው ሙሉ ባንድ ሆነ።

የካሴቱ ነፍስ አኮርዲዮኑ ነው። የዘፋኙን ቦታ ይዞ ዜማውን ያንቆረቁረዋል፤ ትንፋሽ እንደሚወስድ ሰው ቆም ይላል፤ የስንኙን ጫፍ ያርገበግበዋል። እኛ አገር ዘፈን የሚደመጠው ለግጥሙ ነው፤ ይህን ሲሰሙ ግን ግጥሙ ራሱ ከአፍ ይመጣል። «አምባሰል»ን የሰማ ሰው ሳያስበው ያንጎራጉራል። ከሁሉም የምወደው «ሽለላ»ን ነው። ሽለላ ያለ ቃል ምን ይቀረዋል የሚል ካለ ይስማው። ወኔው እንዳለ ነው፤ እንዲያውም ብቸኝነት ተጨምሮበት ሆድ ያባባል።

ኃይሉ ከዚያ በኋላ መድረክ ትቶ ለዓመታት ታክሲ ነዳ። መንገደኛ ሲጠብቅ ከመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ ኪቦርድ አውጥቶ ይለማመድ ነበር። ከዚያ አንድ አሜሪካዊ ካሴት ሰብሳቢ ባሕር ዳር ውስጥ ይቺን ካሴት አገኘ፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ኦውሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ በተባለው አሳታሚው በኩል እንደገና አወጣት። ኃይሉም ወደ መድረክ ተመለሰ፤ እ.ኤ.አ. በ2018 «ላላ በሉ» የተሰኘ አዲስ አልበም ሠራ።