የፓሚር አውራ ጎዳና፦ ከዱሻንቤ እስከ ኦሽ በመኪና

የፓሚር አውራ ጎዳና የታጂኪስታንን ዋና ከተማ ዱሻንቤን በደቡብ ኪርጊስታን ከምትገኘው ኦሽ ጋር የሚያገናኝ የተራራ መንገድ ነው። በሶቪየት ዘመን የተሰጠው መጠሪያ ኤም-41 ነው። በዚህ ቁጥር ከተሄደ መነሻው ኡዝቤኪስታን ውስጥ ተርሜዝ፣ መድረሻው ኪርጊስታን ውስጥ ካራ-ባልታ ይሆናል፤ ተጓዦች «ፓሚርን ነዳሁ» ሲሉ ግን ከዱሻንቤ እስከ ኦሽ ያለውን 1,250 ኪሎ ሜትር ገደማ ማለታቸው ነው። ከፍተኛው ቦታ አክ-ባይታል የተባለው በር ነው፤ በኪርጊዝኛ «ነጭ ባዝራ» ማለት ሲሆን 4,655 ሜትር ላይ ይገኛል። መኪና የሚያልፍበት ይህ በር ከራስ ደጀን ጫፍ (4,550 ሜትር) መቶ ሜትር ያህል ይበልጣል።

መንገዱ የተሠራው ለወታደር ነበር። ዛሬ በአብዛኛው የሚታወቀው ከሰባት እስከ አሥር ቀን በሚፈጅ የመኪና ጉዞ ሲሆን፣ ተጓዡ ከነሹፌሩ የተከራየው መኪና ውስጥ ውሎ ማታ ማታ የገበሬና የአርብቶ አደር ቤት ያድራል። በአማርኛ ተሰባስቦ የቀረበ ነገር እምብዛም ስለሌለ ይህ ዳሰሳ ያንን ለመሙላት የተዘጋጀ ነው። የእንግሊዝና የሩስያ መኮንኖች የጻፉት ብዙ በመሆኑ የ1890ዎቹ ታሪክ ከሌላው ረዘም ብሏል። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

መሬቱና ሕዝቡ

«ፓሚር» የተራራ ስም ብቻ አይደለም። ግግር በረዶ ገፍቶ ያሰፋው፣ በበጋ ከብት የሚሰማራበት ከፍ ያለ ሸለቆም ፓሚር ይባላል። ፋርስኛ ተናጋሪዎች አገሩን «ባም-ኢ-ዱንያ»፣ የዓለም ጣሪያ፣ ይሉታል።

ምሥራቁና ምዕራቡ አይገናኙም። ምሥራቁ፣ ማለትም የሙርጋብ ወገን፣ ዛፍ የሌለበት ውርጭ ነው፤ ኪርጊዞች ያክና በግ ያረቡበታል። ምዕራቡ ገደልና ሸለቆ ሲሆን በየወንዙ ዳር በመስኖ የሚለማ ማሳ፣ አፕሪኮትና ፖም አለ። ነዋሪዎቹ ሹግኒ፣ ሩሻኒና ዋኺ የመሳሰሉ የየራሳቸው ቋንቋ ያላቸው ፓሚሮች ናቸው፤ በአብዛኛው የኢስማኢሊ እስልምና ተከታዮች ሆነው አጋ ኻንን በመንፈሳዊ መሪነት ይቀበላሉ። ሁለቱም የሚገኙበት የጎርኖ-ባዳኽሻን ራስ ገዝ ክልል በ1925 የተመሠረተ ነው። ከታጂኪስታን መሬት ግማሽ ሊሞላ ምንም አይቀረው፤ ከአገሪቱ ሕዝብ ግን ከመቶው ሦስት እንኳ አይኖርበትም።

ታሪክ

ማርኮ ፖሎ በ1270ዎቹ በዋኻን ሸለቆ አድርጎ እንዳለፈ ይታመናል። ቀንዱ የተጠማዘዘው ትልቁ የዱር በግ የእሱን ስም መያዙ ክርክሩን አይፈታም፤ ስሙን ያወጡለት የአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ሰዎች ናቸው። ከእሱ በኋላ ስላሉት ስድስት መቶ ዓመታት እዚህ ብዙ የሚባል የለም።

ወሬው የሚበዛው ሩስያ ከሰሜን፣ እንግሊዝ ከሕንድ በኩል ሲቀራረቡ ነው። ሁለቱ መንግሥታት በ1873 በአፍጋኒስታን ወሰን ላይ በመርህ ደረጃ ተስማምተው ነበር፤ ሆኖም የፓሚር ምሥራቃዊ ክፍል ባለቤቱ ሳይለይ ቀረ። በነሐሴ 1891 የእንግሊዙ ሻምበል ፍራንሲስ ያንግሀዝባንድ ቦዛይ ጉምባዝ በተባለች የዋኻን ሰፈር ሳለ፣ የሩስያው ኮሎኔል ሚኻኢል ዮኖቭ ኮሳክ የሚባሉትን ፈረሰኞቹን አስከትሎ ደረሰ። ተጋበዙ፣ አብረው እራት በሉ፣ ጠጡ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ግን ዮኖቭ ተመልሶ መጣና «ያለኸው በሩስያ ግዛት ነው፤ ልቀቅ» አለው። ያንግሀዝባንድም በጽሑፍ ፈርሞ ወጣ። ለንደን ተቆጣች፤ ሴንት ፒተርስበርግም ይቅርታ ጠየቀች። ይሁን እንጂ በማግስቱ ዓመት ዮኖቭ ተመልሶ ያሺልኩል ሐይቅ አጠገብ ከአፍጋን ወታደሮች ጋር ተታኮሰ። በ1893 ሩስያውያን «የፓሚር ጦር ሰፈር» ያሉትን ምሽግ ዛሬ ሙርጋብ ከተማ ባለችበት ቦታ አቆሙ። በ1895 የሁለቱ መንግሥታት የወሰን ኮሚሽን ከዞርኩል ሐይቅ እስከ ቻይና ድረስ ምልክት እየተከለ ሄደ። ሁለቱ ኃያላን እንዳይነካኩ በመካከላቸው የተተወው ቀጭን መሬት ዛሬም ካርታ ላይ ከአፍጋኒስታን እንደ ጣት ወጥቶ የሚታየው የዋኻን ሰርጥ ነው። የፓንጅ ወንዝ በዚህ ምክንያት ድንበር ሆነ፤ አንድ ቋንቋ የሚናገሩ ዘመዳሞችም ማዶ ለማዶ ቀሩ።

በ1916 ደግሞ ሽጉጥ ያልታጠቀ ሰው መጣ። የዕፅዋት ተመራማሪው ኒኮላይ ቫቪሎቭ መጀመሪያ ወደ ኢራን የተላከው እዚያ የሰፈሩት የሩስያ ወታደሮች የሚበሉት ዳቦ ለምን እንደሚያዞራቸው እንዲመረምር ነበር። መልሱ ማንኛውም የኛ ገበሬ የሚነግረው ነው፦ እንክርዳድ። ከዚያ ወደ ፓሚር ወጥቶ ከገደል በላይ ባሉ ጠባብ ማሳዎች የሚበቅለውን ስንዴና አጃ ሰበሰበ። ይኸው ሰው በ1927 ኢትዮጵያ ገብቶ ራስ ተፈሪን አነጋግሯል፤ የስንዴያችንን ዝርያ ብዛት አይቶም አገሪቱን ከዓለም የሰብል መገኛ ማዕከላት አንዷ አድርጎ መዝግቧታል። ፓሚርና የኢትዮጵያ ደጋ አንድ ሰው ማስታወሻ ውስጥ ተገናኝተዋል ቢባል ማጋነን አይሆንም። ቫቪሎቭ በ1943 በሶቪየት እስር ቤት ሞተ።

ለመኪና የሚሆነው መንገድ የተሠራው በሁለት ዙር ነው። ከኦሽ እስከ ክልሉ ዋና ከተማ ኾሮግ ያለው 700 ኪሎ ሜትር ገደማ ከ1931 እስከ 1934 ተሠራ፤ ከዱሻንቤ (ያኔ ስታሊናባድ) እስከ ኾሮግ ያለው ደግሞ በ1940 ተከፈተ። ከዚያ በኋላ ባለው ግማሽ ክፍለ ዘመን እህሉም፣ ከሰሉም፣ ናፍጣውም ከኦሽ በካሚዮን ይጫን ነበር።

ሶቪየት ኅብረት ፈርሳ በታጂኪስታን የእርስ በርስ ጦርነት ሲነሳ (1992–1997) ጭነቱ ቆመ። የሙርጋብ ሰው ከሰል ሲያጣ ተሬስከን የተባለውን ቁጥቋጦ ከነሥሩ እየነቀለ አነደደ፤ ጠባሳው ዛሬም ከመንገዱ ግራና ቀኝ ይታያል። ክልሉን ከረሃብ ያተረፈው የአጋ ኻን ፋውንዴሽን በዚሁ መንገድ ያስገባው ዱቄትና ዘይት ነው። አጋ ኻን አራተኛ በግንቦት 1995 ባዳኽሻንን ሲጎበኙ ሕዝቡ ከየሸለቆው በእግሩ ወርዶ ተቀበላቸው። በኋላም በፓንጅ ላይ ድልድዮች ተዘረጉ፤ የመጀመሪያው በ2002 ኾሮግ አጠገብ የተከፈተው ነው። የመካከለኛው እስያ ዩኒቨርሲቲም በ2017 በኾሮግ ግቢውን ከፈተ።

መኪናውና ሹፌሩ

«አስጎብኚ ይዞ መጓዝ» ሲባል እዚህ አገር ብዙውን ጊዜ ሹፌሩ ማለት ነው። ባንዲራ ይዞ ከፊት የሚሄድ ሰው የለም። መኪናው በኮንትራት ይያዛል፤ ሦስት ወይም አራት ተጓዦች ሒሳቡን ይካፈላሉ፤ ክፍያው በቀን ወይም በኪሎ ሜትር ይታሰባል። በኪሎ ሜትር መክፈልን ያስለመዱት በሙርጋብና በኾሮግ የተቋቋሙ የአካባቢው ሰዎች የቱሪዝም ማኅበራት ናቸው፤ ዋጋውን በግልጽ ለጥፈው ሥራውን በየቤቱ በማዳረሳቸው ሊመሰገኑ ይገባል። ከዋና ከተማ ወይም ከውጭ አገር የሚሸጠው ጉዞ ምቾት ይጨምር ይሆናል፤ መጨረሻ ላይ መሪውን የሚይዘው ግን ያው የኾሮግ ወይም የሙርጋብ ሰው ነው።

መኪናው ላንድክሩዘር፣ ፓጄሮ ወይም ሚትሱቢሺ ዴሊካ ይሆናል፤ በሙርጋብ ወገን የሩስያው ዋዝም አለ። ሹፌሩ ሁለት ትርፍ ጎማ፣ ክሪክ፣ የጎማ መንፊያና የመጎተቻ ገመድ ይይዛል። ጎሚስታ ፍለጋ የሚኬድበት አገር አይደለም። ሙርጋብ ላይ ነዳጅ ብዙ ጊዜ የሚቀዳው በባልዲ ተለክቶ ነው፤ ሹፌሩ በጨርቅ እያጠለለ ያስገባዋል። መግባቢያው ሩስኛ ነው። ከሹፌሮቹ መካከል በሶቪየት ጊዜ መምህር ወይም መሐንዲስ የነበሩ ይገኛሉ። ሁሉም የሚስማሙበት አንድ ነገር ቢኖር መንገዱ እንደ ቆርቆሮ በተጣጠፈበት ቦታ ቀስ ማለት እንደማይጠቅም ነው፤ ፍጥነት ሲጨመር መኪናው ከጫፍ ጫፍ ይንሳፈፋል፣ ሲቀንስ አጥንት ይለያያል።

መንገዱ በየክፍሉ

ከዱሻንቤ ወደ ቃላኢኹም ሁለት መንገድ አለ። ሰሜኑ በኻቡራቦት በር (3,252 ሜትር) የሚያልፍ ሲሆን የሚያገለግለው በበጋ ብቻ ነው፤ ደቡቡ በኩሎብ ዞሮ ዓመቱን ሙሉ ክፍት ነው። ከቃላኢኹም እስከ ኾሮግ መንገዱ ፓንጅን ይዞ ይሄዳል። ማዶ አፍጋኒስታን ነው፤ አንዳንድ ቦታ ወንዙ ከመጥበቡ የተነሳ በአህያ የሚሄደው ሰው ፊቱ ይለያል። የቻይና ሥራ ተቋራጮች ይህን ክፍል እያሰፉት ስለሆነ ድንጋይ እስኪነሳ ሰዓታት መቆም የተለመደ ነው።

ኾሮግ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ያለች የክልሉ ዋና ከተማ ናት። ከዚያ ወደ ሙርጋብ በቀጥታ ኤም-41ን መከተል ይቻላል፤ አብዛኛው ተጓዥ ግን በኢሽካሺም ዞሮ የዋኻንን ሸለቆ ይመርጣል፤ ትክክልም ነው። ከወንዙ ባሻገር የሂንዱ ኩሽ በረዶ፣ ከመንገዱ በላይ የያምቹን ምሽግ፣ ከምሽጉ በላይ ቢቢ ፋጢማ የተባለው ፍልውሃ አለ። የምሽጉ መሠረት ብዙ ጊዜ ከክርስቶስ ልደት በፊት 3ኛው ክፍለ ዘመን ነው ይባላል። ከላንጋር በኋላ መንገዱ በኻርጉሽ በር (4,344 ሜትር) ወጥቶ አሊቹር አጠገብ ከዋናው ጋር ይገናኛል።

ከሙርጋብ ወደ ሰሜን አክ-ባይታል ይመጣል። በሩ ላይ ሲደርሱ የብስኩት ማሸጊያው እንደ ፊኛ ይነፋል፣ ሞተሩ ያለከልካል፣ ሲጋራ ለማጨስ የወረደው ሰው ሳይጨርስ ይመለሳል። ከበሩ ወርዶ የሚገኘው ካራኩል («ጥቁር ሐይቅ») ከ3,900 ሜትር በላይ ላይ ያለ፣ ውሃው ጨዋማ፣ መውጫ የሌለው ሐይቅ ነው። ጉድጓዱን የፈጠረው ከሰማይ የወደቀ ድንጋይ እንደሆነ ይነገራል፤ ስለ ዘመኑ የሚሰጠው ግምት ግን እጅግ የተራራቀ ነው። በዚህ አካባቢ ከመንገዱ ጎን ረጅም የሽቦ አጥር ይታያል፤ በሶቪየት ጊዜ በቻይና በኩል የተዘረጋ ነው። ታጂኪስታን በ2011 ባጸደቀችው ስምምነት ወደ 1,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆን መሬት ለቻይና ለቅቃለች።

ቤቱ

በምዕራብ ፓሚር የሚታደርበት ቤት ከውጭ ሲያዩት የጭቃ ሳጥን ነው። ውስጡ አምስት ምሰሶ ይዞ ይቆማል፤ ኢስማኢሊዎች ለነቢዩ መሐመድ፣ ለዓሊ፣ ለፋጢማ፣ ለሐሰንና ለሑሴን ሰጥተዋቸዋል። ጣሪያው መካከል አራት ማዕዘን በአራት ማዕዘን ላይ እየተነባበረ የሚጠብ የብርሃን መግቢያ አለ፤ አራቱ እርከኖች መሬት፣ ውሃ፣ አየርና እሳት ናቸው ይባላል፤ ከእስልምና በፊት የመጣ ነው የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ዙሪያውን መደብ አለ። መቀመጫውም መኝታውም እሱ ነው።

ጠዋት የሚቀርበው ሺርቾይ ነው፦ ሻይ በወተት፣ ጨው ገብቶበት፣ ቅቤ ተጨምሮበት፣ ዳቦ እየተፈተፈተ በጎድጓዳ ሳህን። ቡናን በጨውና በቅቤ ለሚያውቅ ሰው እንግዳ አይሆንበትም። በሙርጋብ በኩል ምድጃው በያክ ኩበት ይነድዳል፤ ክፍሉ ለአንድ ሰዓት ያህል እንደ ምጣድ ይግልና ሌሊቱን ውርጭ ይሆናል።

ከፍታ

ከኦሽ የሚነሳ ሰው በመጀመሪያው ቀን ሳሪ-ታሽ (3,170 ሜትር)፣ በሁለተኛው ካራኩል ሊያድር ይችላል፤ ይህ ለሰውነት ይፈጥናል። ከዱሻንቤ መነሳት ቀስ በቀስ ስለሚወጣ ይሻላል። የተለመደው ምክር ከ3,000 ሜትር በላይ የመኝታ ቦታን በቀን ከ500 ሜትር በላይ አለማሳደግ ነው። ራስ ምታት ከማስመለስና ከመንገዳገድ ጋር ከመጣ መድኃኒቱ መውረድ ነው፤ ጥሩ ሹፌር ይህን ሳይነገረው ያውቃል፣ በሌሊትም ቢሆን ያወርዳል።

ፈቃድ፣ ጸጥታና ድንበር

ወደ ራስ ገዝ ክልሉ ለመግባት ከቪዛ ሌላ የተለየ የይለፍ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ በየኬላው ይታያል፣ ስም በእጅ ይመዘገባል። የተመረጠው ወቅት ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። በሐምሌ የሚቀልጠው በረዶ ግን የራሱ መዘዝ አለው፦ በሐምሌ 2015 ባርሴም ላይ የወረደ ናዳ መንደሩን ቀብሮ ወንዙን ገድቦ ዋናውን መንገድ ቆርጧል። በሐምሌ 2018 ከክልሉ ውጭ ዳንጋራ ውስጥ አራት የውጭ አገር ብስክሌተኞች ተገድለዋል፤ እስላማዊ መንግሥት ነኝ የሚለው ቡድን ኃላፊነቱን ሲወስድ፣ መንግሥት የታገደውን የተቃዋሚ ፓርቲ ወነጀለ፤ ፓርቲው ክዷል። በግንቦት 2022 በክልሉ ውስጥ የጸጥታ ኃይሎች ባካሄዱት ዘመቻ በርካታ ሰዎች ሞተዋል፤ መንግሥት ሽብርተኞችን መዋጋት ሲለው የመብት ድርጅቶች ሲቪሎች ናቸው ይላሉ። ከዚያ ወዲህ የባዳኽሻን ሰው ለእንግዳ ያለው አክብሮት አልቀነሰም፤ ፖለቲካ ግን ሻይ ላይ አይነሳም።

ኪርጊስታንና ታጂኪስታን በ2021 እና በ2022 በወሰን ተዋግተው ድንበራቸውን ዘግተው ነበር። የወሰን ስምምነቱን የሁለቱ አገሮች ፕሬዚዳንቶች መጋቢት 13 ቀን 2025 ቢሽኬክ ላይ ፈርመዋል። መንገዱ ድንበሩን የሚሻገረው በኪዚል-አርት በር (4,280 ሜትር) ሲሆን፣ በሁለቱ ኬላዎች መካከል 20 ኪሎ ሜትር ያህል የማንም ያልሆነ ቀይ ጭቃ አለ፤ በሩ ላይ የማርኮ ፖሎ በግ ሐውልት ቆሟል። ድንበሩ በተዘጋባቸው ዓመታት በልዩ ፈቃድ የሚያልፍ ተጓዥ የታጂኩን መኪና እዚህ ተሰናብቶ ከኦሽ የመጣው ሹፌር ይቀበለው ነበር። ሻንጣው ከአንዱ ጣሪያ ወደ ሌላው ይዛወራል፣ ሁለቱ ሹፌሮች በሩስኛ ስለ መንገዱ ይጠያየቃሉ፣ ከዚያ እያንዳንዱ ወደመጣበት ይዞራል።