ዝቅ ያለ የስበት ማዕከል ምንድን ነው? አጭር ተጫዋችን መጣል ለምን ይከብዳል?

ሜሲ በሦስት ተከላካዮች መሀል ተሹለክልኮ ሲወጣ ኮሜንታተሮች አንድ ነገር ሳይሉ አያልፉም፦ «የስበት ማዕከሉ ለመሬት ቅርብ ስለሆነ በቀላሉ አይወድቅም»። አባባሉ ልክ ነው፤ ግን ግማሹን ብቻ ነው የሚናገረው። ቁመት ማጠር ብቻውን ሚዛን የሚሰጥ ቢሆን ኖሮ አጭር የሆነ የሰፈር ልጅ ሁሉ አብዶ በሠራ ነበር። ቀሪው ግማሽ ያለው ጉልበት አስተጣጠፍና እርምጃ ላይ ነው።

ከትርጉሙ እንጀምር። የስበት ማዕከል ማለት የአንድ አካል ክብደት በሙሉ አንድ ቦታ ላይ ተሰብስቧል ብለን ብናስብ ያ ቦታ ማለት ነው። ቀጥ ብሎ የቆመ ሰው ላይ ከእምብርት ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ ዳሌ መሀል ይገኛል። ከመሬት ሲለካ ከጠቅላላው ቁመት 55 በመቶ አካባቢ ነው። በዚህ ስሌት 1.65 ሜትር የነበረው ማራዶና ላይ 91 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ 1.70 የሆነው ሜሲ ላይ 94 ገደማ፣ 1.90 የሆነ የመሀል ተከላካይ ላይ ደግሞ 105 ገደማ ይሆናል። በሜሲና በተከላካዩ መካከል ያለው ልዩነት ግማሽ ስንዝር ቢሆን ነው።

ነጥቡ ደግሞ አንድ ቦታ ተቸንክሮ አይቀመጥም። እጅ ወደ ላይ ሲነሳ ከፍ ይላል፣ ጉልበት ሲታጠፍ ዝቅ ይላል። ረጅሙ ተከላካይ ጉልበቱን በደንብ ካጠፈ የ11 ሴንቲውን ልዩነት ሊያጠፋው ይችላል። ችግሩ እንደታጠፈ መሮጥ አለመቻሉ ነው፤ አጭሩ ግን በተፈጥሮ ሩጫው እዚያው ከፍታ ላይ ነው ያለው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ተጫዋች ሲታጠፍ እንደ ሞተር ሳይክል ነጂ ወደ ውስጥ ያዘነብላል። የሚያዘነብልበትን ማዕዘን የሚወስኑት ፍጥነቱና የመታጠፊያው ጥበት ናቸው፤ ቁመት ምንም አይጨምርበትም። በሰከንድ 5 ሜትር (በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር) እየሮጠ 4 ሜትር ሬዲየስ ባለው ቅስት የሚታጠፍ ሰው፣ አጭርም ሆነ ረጅም፣ 32 ዲግሪ ገደማ ማዘንበል አለበት። ልዩነቱ እግሩን የት እንደሚያሳርፍ ላይ ነው። የ1.70ው ሰው እግሩን ከስበት ማዕከሉ ወደ ጎን 50 ሴንቲ ሜትር ገደማ ርቆ ሲያሳርፍ፣ የ1.90ው 56 ገደማ መሄድ ይኖርበታል። ስድስት ሴንቲ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን በአንድ ድሪብል (ኳስ እየገፉ ተከላካይን በማለፍ) ውስጥ አራት አምስት ጊዜ አቅጣጫ የሚቀየር ከሆነ፣ ረጅሙ በእያንዳንዷ ላይ ትንሽ ትንሽ እየዘገየ በአምስተኛዋ ላይ አንድ ሙሉ እርምጃ ወደኋላ ይቀራል።

ከከፍታው ይልቅ የሚከብደው የመጠን ጉዳይ ነው። ቅርጻቸው ፍጹም አንድ የሆነ፣ አንዱ 1.70 ሌላው 1.90 የሆኑ ሁለት ሰዎች አሉ እንበል። የረጅሙ ክብደት በ40 በመቶ ይበልጣል። የጡንቻው ውፍረት፣ ማለትም የሚያወጣው ኃይል፣ የሚበልጠው ግን በ25 በመቶ ብቻ ነው። ሰውነቱ መዞርን የሚቃወምበት መጠን ደግሞ በ75 በመቶ ይበልጣል። በእውነተኛው ዓለም ረጃጅሞች ቀጠን ስለሚሉ ክፍተቱ ከዚህ ይጠባል፤ አቅጣጫው ግን አይቀየርም። ትልቅ አካል ለመጀመርም፣ ለማቆምም፣ ለማዞርም ይከብዳል።

አሁን ወደ ዋናው። ሯጭ አቅጣጫውን መቀየር የሚችለው እግሩ መሬት ሲነካ ብቻ ነው። አየር ላይ እያለ ምንም ማድረግ አይችልም፤ እንደተወረወረ ድንጋይ ነው። እግሩ አጭር የሆነ ሰው በተመሳሳይ ፍጥነት ሲሮጥ በአንድ ሜትር ውስጥ ብዙ ጊዜ መሬት ይነካል፤ ስለዚህ ሐሳቡን ለመቀየር ብዙ ዕድል አለው። ጥሩ ድሪብለር የሚጠብቀው ይህንኑ ነው፦ ተከላካዩ እግሩን አንስቶ ገና ያላሳረፈባትን ቅጽበት። በዚያች ቅጽበት ኳሷ በሌላ አቅጣጫ ከተነካች ተከላካዩ እያየ ያልፈዋል። ክብደቱ ወደ አንድ እግሩ ያጋደለ ተከላካይ ላይ ሎጬ (በእግሮቹ መሀል የምትሾልክ ኳስ) የሚገባውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ የቆመበትን እግር ማንሳት አይችልም።

ሰኔ 1986 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በሜክሲኮ አዝቴካ ስታዲየም ማራዶና እንግሊዝ ላይ ያገባውን ሁለተኛ ጎል በዚህ ዓይን እንየው። ኳሷን የተቀበለው በራሱ ሜዳ፣ ጀርባውን ለእንግሊዝ ግብ ሰጥቶ ነው። እንግሊዞቹ ቢርድስሊና ሪድ ከሁለት በኩል መጡበት። በቦታው ላይ ዞሮ በመሀላቸው ወጣ። ከዚያ ቡቸርን፣ ቀጥሎ ፌንዊክን አለፈ፤ ግብ ጠባቂው ሺልተንን አታልሎ፣ ቡቸር ከኋላ ተንሸራቶ እየደረሰበት ጎሉን አስቆጠረ። 60 ሜትር ገደማ፣ 10 ሰከንድ ገደማ፣ 11 የኳስ ንኪዎች፣ ሁሉም በግራ እግር። ሂሳቡን ስንሠራው በሁለት ንኪ መካከል በአማካይ ከ5 ሜትር በላይ አለ። ስለዚህ አብዛኞቹ እርምጃዎች ኳስ የማይነኩ ናቸው። ኳስ በማትነካባቸው አጫጭር እርምጃዎች ሰውነቱን እያስተካከለ፣ ንኪዋ ስትመጣ ዝግጁ ሆኖ ይጠብቃታል። ክፍት ሜዳ ላይ ኳሷን አርቆ ይገፋል፤ ተከላካይ ሲቃረብ እርምጃውም ንኪውም ያጥራል። ቪዲዮውን ድጋሚ የሚያይ ሰው ኳሷን ትቶ እግሮቹን ብቻ ቢከተል ብዙ ይማራል።

ስለ መገፋፋት ደግሞ። ደንቡ ትከሻ ለትከሻ መጋጨትን ይፈቅዳል። የ1.90 ሰው ትከሻ ግን ከ1.68 ሰው ጆሮ አካባቢ ነው የሚደርሰው። በሕጉ ለመግፋት ራሱ መጎንበስ አለበት፤ ሲጎነበስ ፍጥነቱን ያጣል፤ በእጁ ከገፋ ጥፋት ነው። አጭሩ ይህን ጥቅም የሚያገኘው ግን ገላውን ቀድሞ ካስገባ ብቻ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ተከላካዩ ከመድረሱ በፊት በአንድ እርምጃ ወደ እሱ ጠጋ ይላል፤ ዳሌውን ከተከላካዩ ጭን ላይ ያሳርፋል፤ እግሮቹን ከትከሻው ስፋት ትንሽ አስፍቶ ጉልበቱን ያጥፋል፤ ክንዱን በግማሽ አጥፎ ሰውየው የት እንዳለ ይዳስሳል፤ ኳሷን በሩቁ እግሩ ይይዛል። የሚበላሸው ቀጥ ብሎ ቆሞ ግጭቱን ሲጠብቅ ነው። ሁለቱ እግሮቹ በአንድ መስመር ላይ ከሆኑም ከጎን የመጣች ትንሽ ግፊት ትጥለዋለች፤ የስበት ማዕከሉ የቱንም ያህል ዝቅ ቢል የቆመበት መሠረት ጠባብ ነውና።

1.70 የማይሞላው ንጎሎ ካንቴ በ2016 ከሌስተር፣ በ2017 ከቼልሲ ጋር ፕሪሚየር ሊጉን፣ በ2018 ከፈረንሳይ ጋር የዓለም ዋንጫን ያነሳው ይህንኑ ጥበብ ኳስ ለመንጠቅ በመጠቀም ነው። በአጫጭር እርምጃ ተጠግቶ፣ ባለኳሱ በነካትና ኳሷ ከእግሩ በራቀችባት ቅጽበት ገላውን መሀል ያስገባል።

በቴስታስ? እዚህ የስበት ማዕከል ምንም አይረዳም፤ አጭር ሰው ይጎዳል። ሆኖም በቴስታ የተቆጠሩ የአጫጭር ተጫዋቾች ጎሎች አንድ የጋራ ባሕርይ አላቸው። በግንቦት 2009 ሮም ላይ በተደረገው የቻምፒየንስ ሊግ ፍጻሜ፣ 70ኛው ደቂቃ ላይ፣ ዣቪ ያሻማትን ኳስ ሜሲ በግንባሩ ገጭቶ በ1.97ቱ የማንቸስተር ዩናይትድ ግብ ጠባቂ ቫን ደር ሳር አናት ላይ አሳለፋት። ሲያገባ ከተከላካዩ ፈርዲናንድ ጋር አልተሻማም፤ ከጀርባው ባዶ ቦታ ላይ ነበር። ብራዚላዊው ሮማሪዮም በ1994ቱ የዓለም ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ጆርጊንሆ ካሻማት ኳስ፣ በረጃጅሞቹ የስዊድን ተከላካዮች መሀል ዘሎ በ80ኛው ደቂቃ ብቸኛዋን ጎል አገባ። አጭር አጥቂ የሚያሸንፈው ተከላካዩ ኳሷን ለማየት ፊቱን ባዞረባት ቅጽበት፣ ከማያይበት ጎን ሁለት ሦስት እርምጃ ተንደርድሮ በመምጣት ነው። በቆመበት የሚዘል ረጅም ሰውና ተንደርድሮ የሚዘል አጭር ሰው በአየር ላይ ይቀራረባሉ። በማዕዘን ምት ጊዜ አጭሩን ከረጅም ሰው ጋር ጎን ለጎን አቁሞ «ያዘው» ማለት ግን ጎል መጋበዝ ነው። ቦታው ከ16 ከ50 ጫፍ ላይ ተመልሳ የምትወጣውን ኳስ መጠበቅ ወይም የግቡን ቋሚ መያዝ ነው።

ከመሀል ተከላካዮች ፋቢዮ ካናቫሮን ሳያነሱ ማለፍ አይቻልም። 1.76 ሆኖ በ2006 ጣሊያንን በአምበልነት ለዓለም ዋንጫ አበቃ፣ በዚያው ዓመት ባሎን ዶርን ወሰደ። በግማሽ ፍጻሜው ከጀርመን ጋር፣ ጭማሪ ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል፣ ኳሷን በግንባሩ ካወጣ በኋላ አልቆመም፤ ወደፊት ሮጦ ፖዶልስኪን ቀድሞ ደረሰባት፤ የዴል ፒዬሮ ጎል የተወለደችው ከዚያች ኳስ ነው። ቁመት ያጣውን በቅድሚያ በመነሳት መለሰው።

የማይጠቅምበትንም ቦታ እንናገር። 30 እና 40 ሜትር ቀጥ ያለ ሩጫ ላይ ረጅም እርምጃ ያለው ሰው ይደርሳል። ተንሸራቶ ኳስ በመንጠቅ ረጅም እግር ይበልጣል። ግብ ጠባቂነት ደግሞ ከሁሉ ይከፋል፤ ግቡ 7.32 ሜትር በ2.44 ነው። 1.70 ገደማ የነበረው ሜክሲካዊው ሆርጌ ካምፖስ በ1994 እና በ1998 የዓለም ዋንጫዎች በረኛ ሆኖ የተሰለፈው ከመስመሩ ቀድሞ እየወጣ፣ ኳስ ከመመታቷ በፊት ማዕዘኑን እያጠበበ ነበር። እንደ እሱ ያለ ሌላ ሰው ብዙም አልታየም፤ ይህም ቦታው ለአጭር ምን ያህል እንደሚከብድ ያሳያል።

ሚዛንና አቅጣጫ መቀየር በልምምድ ይሻሻላል። ለመለካት 5-0-5 የሚባለው ፈተና ይበቃል። ሦስት ምልክት ይደረጋል፦ መነሻ፣ 10 ሜትር ላይ እና 15 ሜትር ላይ። ተጫዋቹ ከመነሻው በሙሉ ፍጥነት ይሮጣል፤ 10ኛውን ሜትር ሲያልፍ ሰዓቱ ይነሳል፤ 15ኛው ላይ ዞሮ ተመልሶ 10ኛውን ሲያልፍ ይቆማል። በቀኝ እግር ሦስት ጊዜ፣ በግራ ሦስት ጊዜ፣ በየመሀሉ ሁለት ደቂቃ እረፍት። ስልክ ከመዞሪያው ጎን አስቀምጦ በዝግታ መቅረጽ ግድ ነው፤ ስህተቱ የሚታየው እዚያ ነው።

በብዛት የሚታየው ስህተት ከጉልበት ፋንታ ከወገብ መጎንበስ ነው። ጭንቅላት ወደፊት ይሄዳል፣ ክብደት ጣት ላይ ያርፋል፣ ተጫዋቹ ሲዞር ይንገዳገዳል። ሁለተኛው ፍሬኑን በሙሉ በመጨረሻዋ እርምጃ ላይ መያዝ ነው። ማብረድ የሚጀመረው ቢያንስ ከመጨረሻዋ በፊት ባለችው እርምጃ ነው፤ እሷ ላይ ጉልበት በደንብ መታጠፍ አለበት፣ የመጨረሻዋ ለማዞር ብቻ ትቀራለች። ሦስተኛውና አደገኛው እግርን በጣም ወደ ጎን አርቆ ማሳረፍ፣ ደረት በተቃራኒው ማዘንበል እና ጉልበት ወደ ውስጥ መግባት በአንድ ላይ ሲመጡ ነው። ተጫዋችን ወራት ከሜዳ የሚያርቀው የኤሲኤል (የጉልበት ውስጥ ጅማት) ጉዳት ብዙ ጊዜ የሚደርሰው በዚህ አኳኋን ነው። ይህን በቪዲዮ ያየ አሰልጣኝ ፍጥነቱን ቀንሶ፣ በእርምጃ እያስኬደ እንደገና ማስተማር አለበት።

እኛ ሀገር ብሔራዊ ቡድኑ ሲሸነፍ «በቁመት ተበለጥን» ይባላል። በማዕዘን ምት ለገባ ጎል ትክክለኛ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ከታዳጊዎች ምርጫ ሲገባ ግን ብዙ ያበላሻል። ወንድ ልጆች በፍጥነት የሚያድጉበት ዕድሜ በአማካይ 14 ዓመት አካባቢ ነው፤ አንዱ ግን በ12፣ ሌላው በ16 ሊጀምር ይችላል። ስለዚህ በ13 ዓመቱ ረጅም የሆነው ልጅ ቀድሞ ያደገ እንጂ የተሻለ ተጫዋች ላይሆን ይችላል። የሜሲ ታሪክ ግን እንደ ምሳሌ ሲጠቀስ ጥንቃቄ ይፈልጋል። እሱ የእድገት ሆርሞን እጥረት በሐኪም ተረጋግጦለት መርፌ ሲወጋ ቆየ፤ ወጪውን ባርሴሎና ሸፈነለት። ጤነኛ ሆኖ አጭር ለሆነ ልጅ የሚሠራ መንገድ አይደለም።

አሰልጣኝ ማድረግ የሚችለው ቀላል ነው። በየሦስት ወሩ፣ በባዶ እግር፣ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ከግድግዳ ጋር አቁሞ ቁመት ለክቶ መመዝገብ። አንድ ልጅ በሦስት ወር ከ2 ሴንቲ ሜትር በላይ ከጨመረ ፈጣን እድገት ላይ ሊሆን ይችላል። በዚያ ወቅት እግሩ አልታዘዝ ይለዋል፣ ትናንት የሚሠራው አብዶ ዛሬ ይበላሽበታል፣ ኳስ ከእግሩ ይርቃል። የስበት ማዕከሉ ከፍ ብሏል፣ አእምሮው ግን ገና አዲሱን ሰውነት አልለመደም። በእነዚያ ወራት የዝላይና የሙሉ ፍጥነት ልምምዱ ይቀንስለት፤ የ5-0-5 ውጤቱ ቢወርድም ከቡድኑ አይሰረዝ፤ ከስድስት ወር በኋላ እንደገና ይለካ።