የፑሆልስ 240 ሚሊዮን ዶላር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በዲሴምበር 2011 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በካሊፎርኒያ አናሃይም የሚጫወተው የቤዝቦል ክለብ ኤንጀልስ አልበርት ፑሆልስን ለ10 ዓመት በ240 ሚሊዮን ዶላር አስፈረመ። ፑሆልስ የዶሚኒካን ሪፐብሊክ ተወላጅ ነው። በሴንት ሉዊስ ካርዲናልስ 11 ዓመት ተጫውቶ 445 ሆም ረን መትቷል፣ ሦስት ጊዜ የሊጉ ኮከብ ተብሎ ተመርጧል፣ ሁለት ጊዜ ወርልድ ሲሪስን (የዋንጫውን የፍጻሜ ጨዋታዎች) አሸንፏል። አናሃይም የደረሰው ግን ያው ሰው አልነበረም። ውሉ ሊያልቅ ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ በሜይ 2021፣ ክለቡ አሰናበተው። ከዚያ ወዲህ ሠላሳ ዓመት የሞላው ኮከብ ትልቅ ውል በፈረመ ቁጥር የሱ ስም ይነሳል። ከስሙ ጋር የሚነሱት ወሬዎች ደግሞ አብዛኞቹ ግማሽ እውነት ናቸው።

ቤዝቦል ለማይከታተል ሰው ሁለት ነገር ላስረዳ። ሆም ረን አብዛኛውን ጊዜ ኳሷን ከአጥር አሳልፎ መምታት ነው። ኦፒኤስ የሚባለው ቁጥር ደግሞ መቺው ቤዝ (ሯጩ የሚደርስባቸው የሜዳው ማረፊያዎች) የመያዝ ችሎታውንና የምቱን ጉልበት ደምሮ ያሳያል። 0.750 አካባቢ መካከለኛ ነው፣ 0.900 በጣም ጥሩ ነው፣ ከ1.000 በላይ የሚደርሱት ጥቂቶች ናቸው።

"ገንዘቡን ካየ በኋላ ሰነፈ"

ይህ ከሁሉም በላይ የሚወራው ነው፤ ከሁሉም በላይ የተሳሳተውም እሱ ነው። ቁጥሮቹን በዓመት በዓመት ደርድሯቸው። የፑሆልስ ኦፒኤስ በ2008 1.114 ነበር፣ በ2009 1.101፣ በ2010 1.011፣ በ2011 0.906። የፈረመው ከዚህ በኋላ ነው። በአናሃይም የመጀመሪያ ዓመቱ፣ በ2012፣ 0.859 ሆነ። ቁልቁለቱ የተጀመረው ሴንት ሉዊስ ሳለ ነው። ኤንጀልስ መውረድ የጀመረን ሰው በጫፍ ላይ ባለ ሰው ዋጋ ገዛ።

ታዲያ ለምን አልታየም? በ2011 የመምታት አማካዩ 0.299 ነበር፤ በምቱ ያስገባቸው ሩጫዎች፣ ማለትም ነጥቦች (አርቢአይ የሚባሉት)፣ 99። በሥራ ዘመኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ከ0.300ም ከ100ም በታች መውረዱ ነበር፣ ግን በአንድ ስንዝር ስለሆነ ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረውም። ከዚያም ኦክቶበር መጣ። በወርልድ ሲሪስ ሦስተኛ ጨዋታ በአንድ ምሽት ሦስት ሆም ረን መታ፤ ከሱ በፊት ይህን ያደረጉት ቤብ ሩት እና ሬጂ ጃክሰን ብቻ ናቸው። እንዲህ ያለ ምሽት የስድስት ወር ቁጥር ያስረሳል። ገበያው ከተከፈተ ከሳምንታት በኋላ የተጻፈው ዋጋ የዚያን ምሽት ዋጋ ይመስለኛል።

በኋላ የመጣውም ቢሆን የአካል ጉዳይ ነው። የእግሩ መዳፍ ሕመም በ2013 ከ162 ጨዋታ 99ኙን ብቻ አሰለፈው። የሚመታ ሰው ጉልበቱን የሚያነሳው ከመሬት ነው፤ እግር ሲታመም ዱላውም ይታመማል።

"ለሠራው ሥራ ይገባዋል"

ይህ ከሁሉም ልብ የሚነካው ነው፣ ደግሞም ግማሹ እውነት ነው። በሜጀር ሊግ አንድ ወጣት መጀመሪያ ሦስት ዓመት ያህል የሚከፈለው ዝቅተኛው ደሞዝ ወይም ለዚያ የቀረበ ነው። እስከ ስድስት ዓመት ድረስም ክለቡን መርጦ መሄድ አይችልም። ፑሆልስ በ2001 ሊጉን እያንቀጠቀጠ 200 ሺህ ዶላር አገኘ፣ በ2002 600 ሺህ፣ በ2003 900 ሺህ። በ2004 የ7 ዓመት የ100 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈረመ፤ ሦስቱንም የኮከብነት ሽልማት ያገኘው በዚሁ ውል ውስጥ ነው። ከሚገባው በታች ተከፍሎታል ማለት ስህተት አይደለም።

ግን ከማን? ፑሆልስ ዕቁቡን የጣለው ሴንት ሉዊስ ሳለ ነው፤ ዕጣውን ያወጣው አናሃይም ሄዶ። የካርዲናልስን ዕዳ ኤንጀልስ ከፈለ። አዲስ ክለብ የሚገዛው የሚመጣውን ዓመት እንጂ ያለፈውን አይደለም፤ ያለፈው ዓመት ጥቅሙን የሰጠው ሌላ ከተማ ውስጥ ነው። ለተጫዋቹ ፍትሕ የሆነ ነገር ለገዢው ኪሳራ ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱ አይጣሉም። ፍትሕ ከተፈለገ መስተካከል ያለበት የወጣቶቹ ደሞዝ ነው፤ የተጫዋቾቹ ማህበርም በየድርድሩ የሚጨቃጨቀው በዚሁ ላይ ነው።

"በ2017 እንኳ 101 ሩጫ አስገብቷል፤ ምን ቀነሰ?"

ይህንን ዓመት ቀረብ ብለን እንየው። በጁን 3 ቀን 2017 ፑሆልስ በሜዳው 600ኛ ሆም ረኑን መታ። የሚኒሶታው ወርዋሪ ኤርቪን ሳንታና ኳሷን ሲለቅ ሦስቱም ቤዝ ሰው ነበረባቸው፣ ስለዚህ አንዱ ምት አራት ሩጫ አስገባ። 600ኛውን በእንዲህ ዓይነት ምት ያገኘ ከሱ በፊት የለም። በዓመቱ መጨረሻ 23 ሆም ረን እና 101 አርቢአይ ነበረው። በወረቀት ሲታይ ኮከብ ነው።

አሁን ሌላውን ዓምድ እንመልከት። ኦፒኤሱ 0.672 ነበር። ወደ ዱላው ከመጣባቸው ጊዜያት ቤዝ የያዘው በ28.6 በመቶው ብቻ ነው። ዋር የሚባለው ስሌት፣ ተጫዋቹ ከሁለተኛው ሊግ በርካሽ ከሚመጣ ተተኪ በላይ ስንት ድል እንደጨመረ የሚያሰላው፣ ከዜሮ በታች ወረደ። ማለትም በዚያ ዓመት እሱ ከሚሰለፍ ዝቅተኛ ደሞዝ የሚበላ ልጅ ቢሰለፍ ቡድኑ የተሻለ ነበር። የዓመቱ ደሞዙ ግን 26 ሚሊዮን ዶላር ነው።

101ዱ ታዲያ ከየት መጣ? አርቢአይ በአብዛኛው የሚቆጠረው ከመቺው ፊት ቤዝ ላይ የቆመ ሰው ሲገባ ነው። ከፑሆልስ ፊት ይመታ የነበረው ማይክ ትራውት ነው፤ ትራውት ጤነኛ በሆነበት ዓመት በዘመኑ ቤዝ በመያዝ የሚወዳደረው ጥቂት ነው። ሰው ያለበት ሜዳ ላይ በየቀኑ አራተኛ የሚመታ ሰው ባያምርበትም ሩጫ ያስገባል። ፑሆልስ ያቃጠላቸውም አሉ፤ በአንድ ምት ሁለት ሰው ማስወጣት፣ ደብል ፕሌይ የሚሉት፣ በሊጉ ታሪክ አንደኛ እሱ ነው። ይህ ቁጥር በቴሌቪዥን ስክሪን ግርጌ አይወጣም። አርቢአይ እየቆጠረ ደሞዝ የሚተምን ሰው የትራውትን ላብ ለፑሆልስ እየከፈለ ነው።

"ክለቡ ተታለለ"

አልተታለለም። የክፍያው ሰሌዳ ራሱ ይመሰክራል፦ በ2012 12 ሚሊዮን፣ በ2013 16 ሚሊዮን፣ ከዚያ 23፣ በየዓመቱ አንድ ሚሊዮን እየጨመረ በ2021 30 ሚሊዮን። ተጫዋቹ ሲያረጅ ክፍያው እየወፈረ ይሄዳል። ይህን የጻፈ ሰው በ41 ዓመቱ ፑሆልስ 40 ሆም ረን ይመታል ብሎ አላሰበም። የክለቡ ባለቤት አርቴ ሞሬኖ በእጁ አዲስ ትልቅ የቴሌቪዥን ስምምነት ነበረው፤ ለስክሪኑ ፊት ያስፈልገው ነበር። በተጨማሪም ኤንጀልስ ያለበት አሜሪካን ሊግ ሜዳ ላይ ሳይከላከል የሚመታ ብቻ ተጫዋች (ዲኤች) ይፈቅዳል፤ በዚያን ጊዜ የካርዲናልስ ሊግ አይፈቅድም ነበር። ስለዚህ ላረጀ ጉልበት አሥር ዓመት መስጠት ለአናሃይም ከሌላው ያነሰ ዕብደት ነበር።

የዚህ ዓይነት ውል ሒሳቡ ቀላል ነው፦ በመጀመሪያዎቹ አራት አምስት ዓመታት ከዋጋው በላይ ትቀበላለህ፣ በመጨረሻዎቹ ትከፍላለህ። ሁሉም ሰው የሚያማርረው በ2019 እና በ2020 ነው፤ እነዚያ ዓመታት ግን ከመጀመሪያውም የተጻፈባቸው ኪሳራ ነበር። ኤንጀልስን የጎዱት 2013 እና ተከታዮቹ ናቸው፣ ትርፉ መምጣት የነበረበት ጊዜ። በሴንት ሉዊስ 11 ዓመት ውስጥ ፑሆልስ በዋር ስሌት ከ85 በላይ ድል ጨምሯል፤ በአናሃይም ዘመኑ በሙሉ ተደምሮ 15 አልሞላም። በኔ ግምት የውሉ ጥፋት ያለው ጅራቱ ላይ ሳይሆን ጭንቅላቱ ላይ ነው።

"አልሠራ ካለ ደሞዙን መቁረጥ ነው"

በአሜሪካን ፉትቦል ብዙ ጊዜ ይቻላል፤ በቤዝቦል አይቻልም። የተፈረመ ገንዘብ ዋስትና አለው። ኤንጀልስ በ2021 አማካዩ 0.198 ሲደርስ አሰናብቶት እንኳ የዚያን ዓመት 30 ሚሊዮን ከፈለ፤ የተቀበለው ዶጀርስ ያወጣው የዝቅተኛውን ደሞዝ ያህል ብቻ ነው። ለዚህ ነው ክለቦች ያረጀን ኮከብ ከሚገባው በላይ የሚያሰልፉት፤ ገንዘቡ እንደሆነ አንዴ ወጥቷል። ስሌቱ ግን ጠማማ ነው፣ ምክንያቱም የወጣው ገንዘብ ተጫወተም ተቀመጠም አይመለስም።

"ኤንጀልስ ዋንጫ ያጣው በሱ ምክንያት ነው"

ሊጉ የደሞዝ ጣሪያ የለውም፤ ከተወሰነ መጠን በላይ ያወጣ ክለብ ቀረጥ ይከፍላል እንጂ አይታገድም። ኤንጀልስ በ2014 98 ጨዋታ አሸንፎ በካንሳስ ሲቲ ሮያልስ በጨዋታ ብዛት 3 ለ 0 ተሸንፎ ተባረረ፤ በፑሆልስ ዘመን ከመደበኛው ወቅት በኋላ የተጫወተው ያኔ ብቻ ነው። በ2012 መጨረሻ ለመቺው ጆሽ ሃሚልተን የሰጠው የ5 ዓመት 125 ሚሊዮንም አለ፤ ሃሚልተን ሁለት ዓመት ተጫውቶ ወደ ቴክሳስ ሲመለስ ደሞዙን በአብዛኛው የከፈለው ኤንጀልስ ነው። ከሁሉም በላይ በቂ ወርዋሪ አልነበረውም። ፑሆልስ ከተጫነባቸው ሸክሞች አንዱ ነበር፣ ብቸኛው አልነበረም።

"ካርዲናልስ ንፉግ ስለሆነ ለቀቀው"

ካርዲናልስ ለሌላ መቺ፣ ለካርሎስ ቤልትራን፣ ሁለት ዓመት በ26 ሚሊዮን ከፈለ። በፑሆልስ መሄድ ምክንያት ከኤንጀልስ በተሰጠው የአዳዲስ ተጫዋቾች ምርጫ (ድራፍት) ተራ ደግሞ ወርዋሪውን ማይክል ዋካን ወሰደ፤ ልጁ በ2013 ቡድኑን ወርልድ ሲሪስ ካስገቡት ተከታታይ ጨዋታዎች የኮከብነቱን ሽልማት ወሰደ። ንፉግነት ከሆነ፣ ጥሩ ንፉግነት ነው።

"703 ሆም ረን ውሉን ትክክል አድርጎታል"

በ2022 ፑሆልስ ወደ ሴንት ሉዊስ ተመለሰ፣ በ42 ዓመቱ፣ በ2.5 ሚሊዮን ዶላር። 24 ሆም ረን መትቶ የሥራ ዘመኑን ድምር 703 አደረሰ፣ ኦፒኤሱ 0.895 ሆነ። በሴፕቴምበር 23 በዶጀር ስታዲየም በአንድ ምሽት 699ኛውንና 700ኛውን መታ፤ ከቦንድስ፣ ከአሮን እና ከሩት ቀጥሎ አራተኛው ሰው። ያን ምሽት ያየ ሰው ደስታውን አይረሳም፣ እኔም አልረሳም።

ግን ያ ዓመት ስለ 240 ሚሊዮኑ ምንም አይናገርም። ካርዲናልስ 109 ጨዋታ ነው ያሰለፈው፣ በተለይም በግራ እጃቸው በሚወረውሩ ላይ፣ የሚመታ ብቻ ተጫዋች ለሱም ሊግ በቋሚነት በተፈቀደበት የመጀመሪያ ዓመት። ያረጀ መቺ የቀረው ነገር ነበረው፤ ያንን በልኩ ተጠቅሞ በልኩ መክፈል ተቻለ። አናሃይም በየቀኑ አራተኛ ያስመታው የነበረው ያው ሰው ነው።

"እንግዲህ ከሠላሳ በኋላ ለማንም ረጅም ውል አይሰጥም"

ከዚህ ታሪክ ብዙዎች የሚወስዱት ይህን ነው፣ ግን ከመጠን ያለፈ ነው። ያንኪስ በ2022 መጨረሻ ለ30 ዓመቱ አሮን ጀጅ 9 ዓመት በ360 ሚሊዮን ሰጠ፤ በ2024 58 ሆም ረን መትቶ የሊጉ ኮከብ ሆነ። ልዩነቱ ከፊርማው በፊት ባሉት ቁጥሮች ላይ ነው፤ ጀጅ የፈረመው 62 በመታበት ዓመት ማግስት ነው፣ ፑሆልስ ሦስት ዓመት በተከታታይ ከወረደ በኋላ።

በዋሽንግተን፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ያለ አንባቢ ደግሞ ማክስ ሸርዘርን ያውቀዋል። ናሽናልስ በ2015 መጀመሪያ ሲያስፈርመው 30 ዓመቱ ነበር፦ 7 ዓመት፣ 210 ሚሊዮን። በዚያ ማሊያ የምርጥ ወርዋሪነትን ሽልማት ሁለት ጊዜ ወሰደ፣ በ2019 ደግሞ ከተማዋ ወርልድ ሲሪስን አሸነፈች። የገንዘቡ ግማሽ በኋላ እንዲከፈል ስለተስማሙ ክለቡ እስከ 2028 ድረስ በየዓመቱ 15 ሚሊዮን ይከፍለዋል። ሸርዘር በ2021 ወደ ሌላ ክለብ ሄዷል፤ በዚህ ክፍያ የሚያማርር የናሽናልስ ደጋፊ ግን እስካሁን አልገጠመኝም።