«ፊልሙ አይረባም» ከማለትህ በፊት ሪሞቱን አንሳ

ደሴ ፒያሳ ላይ ፍላሹን አስጭኖ የገባ ሰው ማታ ሲያይ ያመሻል፤ ጠዋት ማኪያቶው ላይ የሚሰጠው ፍርድ ግን አንዲት ቃል ናት፦ «አይረባም»። ለምን ሲባል «ድምፁ አይሰማም፣ ጨለማ ነው፣ የሳሙና ማስታወቂያ ይመስላል» ይላል። በዚያች ቃል ብቻ ፊልሙ ከእጅ ወደ እጅ መዞሩን ያቆምና ኮምቦልቻ ሳይወርድ ይሰረዛል። ሦስቱም ክሶች ግን ፊልሙን አይመለከቱም። ተከሳሹ ፋይሉና ቲቪው ነው።

«ንግግሩ አይሰማም፤ ሲታኮሱ ግን ቤቱ ይናወጣል። ድምፁን የሠራው ሰው አይችልም።»

ከሁሉም የሚያንገበግበው ይሄ ነው። የሲኒማ ድምፅ ብዙ ጊዜ የሚሠራው በስድስት መስመር ነው፤ 5.1 የሚሉት። ከፊት ግራ፣ መሐልና ቀኝ፣ ከጎን ወይም ከኋላ ሁለት፣ ስድስተኛው ደግሞ ጎርናናውን ብቻ የሚያወጣ። ንግግሩ ከሞላ ጎደል ሁሉም ያለው መሐለኛው ላይ ነው። ሳሎን ያለው ቲቪ ደግሞ ሁለት ትንንሽ ስፒከር ነው ያለው፤ እነሱም ወደ ታች ወይም ወደ ግድግዳው የዞሩ። ቲቪው ስድስቱን ወደ ሁለት ሲያጣጥፍ ንግግሩ ከሙዚቃውና ከፍንዳታው ሥር ይቀበራል። ሆም ቲያትር ገዝቶ የመሐሉን ስፒከር ገመድ ሳይሰካ የተወ ሰውማ ንግግሩን ከናካቴው አጥፍቶታል፤ ከዚያ «ተዋናዮቹ ያንሾካሹካሉ» ብሎ ያማል።

መፍትሔው እንዲህ ነው። መጀመሪያ የቲቪውን የድምፅ ሜኑ ክፈትና «ክሊር ቮይስ» ወይም «ስፒች» የሚል ካለ አብራው፤ «ናይት ሞድ» ካለም ይጠቅማል፣ ከፍተኛውንና ዝቅተኛውን ድምፅ ያቀራርባልና። በኮምፒውተር የምታይ ከሆነ ቪኤልሲ በሚባለው ማጫወቻ ፕሮግራም ላይ «ቱልስ» ውስጥ ገብተህ «ኢፌክትስ ኤንድ ፊልተርስ» በል፤ ከድምፁ ክፍል «ኮምፕሬሰር» የሚለውን አብራ። ምስሉ እየሄደ ድምፁ ጭራሽ ከሌለ ደግሞ ፋይሉ አልሞተም፤ ብዙ ጊዜ ድምፁ ብዙ ቲቪዎች በማያነቡት ዲቲኤስ በሚባል ዓይነት ተቀርጾ ነው። ያንኑ ፋይል ቪኤልሲ ላይ ብትከፍተው ይናገራል። የግድ በቲቪ ማየት ካለብህ ሃንድብሬክ በሚባለው ፕሮግራም ድምፁን «ኤኤሲ»፣ አወጣጡን «ስቴሪዮ» አድርገህ እንደገና አውጣው። ፕሮግራሙ ምስሉንም አብሮ እንደ አዲስ ስለሚሠራው ቡና አፍልተህ ጠብቅ። ከሁሉም የሚቀለው ግን ሲጫንልህ «ስቴሪዮውን ስጠኝ» ማለት ነው።

«ጨለማ ነው፤ ምንም አይታይም።»

ኮምቦልቻ ላይ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ በሙቀቱ ምክንያት በርና መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቶ፣ ፀሐዩ ስክሪኑ ላይ አርፎ የሌሊት ትዕይንት ይታያል? አይታይም። ስክሪኑ ላይ የሚታየው የራስህ ፊትና ከኋላህ የተሰጣው ልብስ ነው። መጋረጃውን ዝጋ፣ ካልሆነ ለማታ አቆየው።

ከዚያ በኋላም ከጨለመ ሰው ሁሉ የሚሮጠው ወደ «ብራይትነስ» ነው። ስህተት ነው። በአብዛኛው ቲቪ ላይ ብራይትነስ የሚነካው ጥቁሩን ነው፤ ከፍ ስታደርገው ጥቁሩ አመድ ይሆናል እንጂ ምስሉ አይበራም። ብርሃን የሚጨምረው «ባክላይት» የሚለው ነው። የምስል ምርጫውንም ከ«ቪቪድ» ወይም «ዳይናሚክ» አውጥተህ «ሙቪ» ወይም «ሲኒማ» ላይ አድርገው። የመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች ቢጫ ቢጫ ይልብሃል፤ ዓይንህ ሲለምደው የሰው ቆዳ የሰው ቆዳ ይመስላል። ቀለሙ በሳሙና የታጠበ፣ የገረጣ ከሆነ ግን ኤችዲአር የሚባለውን፣ ብርሃንና ቀለሙ ሰፋ ተደርጎ የተሠራውን ፋይል፣ በማይችል ቲቪ እያየህ ይሆናል። ኤችዲአር ያልሆነውን ተራውን ባለ 1080 አስጭን፤ ብዙ ጊዜ ቦታም ያተርፍልሃል።

«የሳሙና ማስታወቂያ ይመስላል፤ ርካሽ ካሜራ ነው።» ፊልም በሰከንድ 24 ምስል ነው የሚቀረጸው። አዲሱ ቲቪህ ግን በምስሎቹ መሐል የራሱን የፈጠራ ምስል እየሰካ ያለሰልሰዋል። ሳምሰንግ ላይ «ኦቶ ሞሽን ፕላስ»፣ ኤልጂ ላይ «ትሩሞሽን»፣ ሶኒ ላይ «ሞሽንፍሎው» ይባላል። አጥፋው። ለኳስ መልሰህ ማብራት ትችላለህ።

«ከላይና ከታች ቆርጠውታል።» ማንም አልቆረጠውም፤ ቆራጩ አንተ ነህ። ብዙ ፊልም የሚቀረጸው ስፋቱ የቁመቱን 2.39 እጥፍ ሆኖ ነው፤ ቲቪው 1.78 ነው። ስለዚህ ከላይና ከታች ጥቁር ይቀራል። «ዙም» ብለህ ስክሪኑን ስትሞላው ከግራና ከቀኝ ተደምሮ የምስሉ ሩብ ይጠፋል። ሁለት ሰዎች ከጠረጴዛ ወዲያና ወዲህ ተቀምጠው ሲጣሉ አንተ የምታየው ጠረጴዛውን፣ አንድ አፍንጫና ብርጭቆ የጨበጠ እጅ ነው። ከዚያ «ካሜራማኑ አይችልም» ይባላል።

«አይቼዋለሁ፤ ትርጉሙን።»

ተራኪው በላዩ ላይ የሚያወራበት ቅጂ ሌላ ሥራ ነው። ራሱን የቻለ ጨዋታ አለው፣ ያስቃል፣ ይወደዳል፤ ችግር የለም። ግን «ሰውዬው ቀልደኛ ነው» ስትል ያደነቅኸው ተዋናዩን ሳይሆን ተራኪውን ነው። ዋናው ድምፅ ዝቅ ተደርጓል፤ ዝምታ ባለበት ቦታ ተራኪው ያወራል። አንዲት ሴት ደብዳቤ አንብባ ለአንድ ደቂቃ ዝም ስትል ያ ዝምታ ነው ትዕይንቱ። «ይህን ጊዜ በጣም አዘነች» ከተባለ ተዋናይዋ ሥራዋን ተቀማች ማለት ነው። ይሄ በ2008 ዓ.ም. ከጀመረው ከቃና ቲቪ ዓይነቱ ድምፅ መተካት ጋር አንድ አይደለም፤ እዚያ እያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ የራሱ ድምፅ ሰጪ አለው። በሃያ ደቂቃ ማጠቃለያ «አየሁት» የሚለውን ሰው በተመለከተ፦ አላየኸውም፤ ተነግሮሃል።

ሰብታይትል ለመረጥክ አንድ ሁለት ነገር። ጽሑፉ ከንግግሩ ከቀደመ ቪኤልሲ ላይ ኤች ቁልፍን፣ ከዘገየ ጂ ቁልፍን ንካ፤ አንዱ ንክኪ 50 ሚሊሰከንድ ነው፣ ሃያ ጊዜ ብትነካው አንድ ሰከንድ። መጀመሪያ ላይ ልክ ሆኖ እየቆየ የሚለያይ ከሆነ ግን በመነካካት አትድከም፤ ፊልሙ በሰከንድ 23.976 ምስል፣ ጽሑፉ ደግሞ ለ25 የተሠራ ነው። ለ120 ደቂቃው ፊልም ጽሑፉ በ115ኛው ደቂቃ ገደማ ያልቃል፤ መጨረሻው ላይ ልዩነቱ አምስት ደቂቃ ይደርሳል። ሌላ ሰብታይትል ፈልግ።

«90 በመቶ አግኝቷል ተብሎ ነበር፤ መካከለኛ ሆኖ አገኘሁት። ገዝተውት ነው።»

የሃያሲያንን ፍርድ የሚሰበስበው ድረ ገጽ፣ ሮተን ቶሜቶስ፣ ላይ ያለው መቶኛ የፈተና ውጤት አይደለም፤ እጅ ቆጠራ ነው። ከመቶ ሃያሲ ስንቱ ወደደው? ይኸው ነው። አሥር ሃያሲያን ሁሉም «ደህና ነው፣ ከአሥር ስድስት» ካሉ 100 በመቶ ይጻፋል። ስድስቱ «ዕፁብ ድንቅ» ብለው አራቱ ከጠሉት 60 ነው፤ እሱም የድረ ገጹን የ«ጥሩ ነው» ምልክት፣ ቀዩን ቲማቲም፣ ለማግኘት አፋፉ ላይ የቆመ ቁጥር። ከሁለቱ ግን የማይረሳህ ሁለተኛው ሊሆን ይችላል። አይኤምዲቢ በሚባለው ድረ ገጽ ላይ ያለው ቁጥር ደግሞ የተመልካች ድምፅ ነው፣ ከ1 እስከ 10፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚመርጠው ብዙ ጊዜ አፍቃሪው ስለሆነ ቁጥሩ ሰንበት ሲል ይወርዳል።

«አክተሩ ከሞተ ምን ፊልም ነው!» ይሄ ከቪዲዮ ቤት ዘመን የተረፈ ነው። አንድ ወንበር ላይ ሦስት ሰው ተጨናንቆ «አክተሩ አይሞትም» ብሎ የሚወራረድበት ዘመን። አሳዛኝ ፊልም የሚያሳዝነው ሆን ብሎ ነው። ባቲ የሚጫወትን ማሲንቆ መቺ «ትዝታ አይደለም» ብሎ ሽልማት የሚነፍግ ወሎዬ የለም፤ ቅኝቱን ይለያላ። ፊልምም ቅኝት አለው። አስፈሪውን «አላሳቀኝም»፣ ቀስ ብሎ የሚሄደውን «ተኩስ የለውም» ማለት አምባሰልን በአንቺ ሆዬ መክሰስ ነው። መጠየቅ ያለበት፣ ሊያስፈራ ፈልጎ አስፈራ ወይ ነው።

ትንንሾቹን ቶሎ ቶሎ እንበል። «በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ» ማለት ሁሉም እውነት ነው ማለት አይደለም፤ ንግግሩን ጸሐፊው ነው የሚጽፈው፣ ሦስት ሰው ወደ አንድ ይጠቀለላል። «የህንድ አክተር ራሱ ነው የሚዘፍነው»፦ በአብዛኛው አይደለም፤ በፈረንጆቹ 2022 ያረፈችው ዘፋኝ ላታ ማንጌሽካር ለአሥርት ዓመታት የስንቷ ተዋናይት ድምፅ ነበረች። «ካሜራ የሚይዘው ዳይሬክተሩ ነው»፦ ሲኒማቶግራፈር የሚባል ባለሙያ አለ። «የእኛ ፊልም ድንበር ተሻግሮ አያውቅም»፦ የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» በ2008 ቬኒስ ላይ ተሸልሟል፤ ዓመቱ የፈረንጆች ነው። «መጨረሻ የለውም፣ ድንገት ተቋረጠ»፦ ርዝመቱን ተመልከት፤ ፎርማቱ (የፋይል አያያዙ) ፋት 32 በሆነ ፍላሽ ላይ ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ ፋይል አይገባም፤ ስለዚህ ለሁለት ተከፍሎ ተጭኖልህ ይሆናል፣ ሁለተኛውን ሌላ ፎልደር ውስጥ ፈልግ።

«ታሪኩን ሳልነግረው ምን ብዬ ላስረዳው?»

ታሪኩን መዘርዘር አስተያየት አይደለም፤ ተራኪው የሠራውን በነፃ መድገም ነው። የሁለት ሰዓት ፊልም ከሆነ ከመጀመሪያው ሠላሳ ደቂቃ አትለፍ፤ ማን ነው፣ ምን ፈለገ፣ ማን ከለከለው። ከዚያ አንድ ትዕይንት ምረጥና እንዴት እንደተሠራ ተናገር፤ «ጥሩ ነው» አትበል፣ «በሩ ሲንኳኳ ካሜራው በሩን ሳይሆን የእናትየውን እጅ ያሳያል፤ ሊጡን ማቡካት ታቆማለች» በል። ሰምቶ የሚቀመጥ የለም፤ ያስጭነዋል። ሰልችቶህ ከሆነ ደግሞ የቱ ጋ? ስልክህን ያነሳህበትን ደቂቃ ልብ በል። በ15ኛው ደቂቃ መሰላቸትና በ90ኛው መሰላቸት ሁለት የተለያየ ክስ ነው፤ የመጀመሪያው የእንቅልፍህ፣ ሁለተኛው የጸሐፊው ሊሆን ይችላል። ቡና ላይ ከሆነ ወሬው፣ በአቦል ጊዜ መጨረሻውን አታንሳ፤ ያላየ ሰው አለ። በረካ ሲደርስ የቸኮለው ሁሉ ሄዷል፣ ያኔ ማን እንደገደለው ተከራከሩ።

ፍላሹን ወደ ኮምቦልቻ ስትልከው ደግሞ ከፊልሙ ጎን አንዲት የጽሑፍ ፋይል ክተትበት፤ ሦስት መስመር ትበቃለች። ቅጂው የቱ እንደሆነ (ሲኒማ ውስጥ በካሜራ የተሰረቀ፣ ትርጉም፣ ወይስ ዋናው)፣ ድምፁ 5.1 ይሁን ስቴሪዮ፣ ሰብታይትሉ ይገጥም እንደሆነ። «አይረባም» የምትለዋን ለአራተኛው መስመር አቆያት፤ ከደቂቃዋ ጋር።