ራስን መፈተሽ በማኅበራዊ ሥራ ንግግር፦ ከባሕር ዳር ሲታይ

የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያ፣ በከተማው አጠራር ሶሻል ወርከር፣ ቀኑን ሙሉ ከሰው ጋር ሲነጋገር ነው የሚውለው። ይጠይቃል፣ ያዳምጣል፣ ይመዘግባል፣ ባለጉዳዩን ከሆስፒታል፣ ከፖሊስ፣ ከቀበሌ ያገናኛል። በዚህ ሁሉ መካከል ድምፁ፣ ፊቱ፣ አቀማመጡ፣ ችኮላው፣ በልቡ የያዘው ግምትም አብረውት ይገባሉ። ራስን ማወቅ የሚባለው እነዚህ ነገሮች ሌላው ሰው ላይ ምን እንደሚያደርጉ ማስተዋል ነው። መለስ ብሎ ማሰብ ደግሞ ማስተዋሉን የሥራ ልማድ ማድረግ ነው። ከንግግሩ በኋላ፣ ሲለመድም ገና እየተነጋገሩ ሳለ፣ «አሁን ያልኩት ከምን መጣ? እሷስ ምን ብላ ወሰደችው?» ብሎ ራስን መጠየቅ።

ይህ በየትኛውም አገር የሙያው አካል ነው። ባሕር ዳር ላይ ግን የራሱ መልክ አለው። እዚህ ሰው ገመናውን ፊት ለፊት አያወራም፤ ባለሙያውም የዚሁ ሕዝብ ልጅ ስለሆነ ፊት ለፊት ለመጠየቅ ያፍራል። ሁለቱም በይሉኝታ ተይዘው ዋናው ጉዳይ ሳይነሳ ቀጠሮው ያልቃል። እኔ እንደሚመስለኝ ራስን መፈተሽ እዚህ የሥልጠና ማሟያ አይደለም፣ ያለእሱ ንግግሩ ራሱ አይጀመርም።

ሐሳቡ ከየት መጣ

ልምድ ብቻውን አያስተምርም፣ በልምዱ ላይ ማሰብ ያስፈልጋል የሚለው አስተሳሰብ ከአሜሪካዊው ፈላስፋ ከጆን ዲውይ ጋር ይያያዛል። ማኅበራዊ ሥራ ውስጥ ደግሞ ፊሊክስ ቢስቴክ የተባሉ የካቶሊክ ካህንና የሙያው መምህር በ1957 እ.ኤ.አ. የባለሙያና የባለጉዳይ ግንኙነት ምን መምሰል እንዳለበት በሰባት መርሆች አስቀመጡ። እያንዳንዱን ሰው ለብቻው ማየት፣ ስሜቱን እንዲያወጣ መፍቀድ፣ የራስን ስሜት በልክ መያዝ፣ ሰውን እንዳለ መቀበል፣ አለመፍረድ፣ በገዛ ጉዳዩ ራሱ እንዲወስን መተው፣ ምሥጢር መጠበቅ። ተማሪዎች ዝርዝሩን በቃላቸው ይወጡታል። ከባዱ ሌላ ነው። «አልፈርድም» ያለ ሰው መፍረዱን የሚያውቅበት መንገድ ከሌለው መርሁ ወረቀት ላይ ይቀራል።

ከዚያ ትንሽ ቀደም ብሎ፣ በ1955 እ.ኤ.አ.፣ ጆሴፍ ሉፍትና ሃሪንግተን ኢንግሃም የተባሉ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች የጆሃሪ መስኮት የሚባለውን ሥዕል አወጡ። አራት ክፍል አለው። እኔም ሌላውም የምናውቀው፣ እኔ ብቻ የማውቀው፣ ሌላው የሚያየው እኔ ግን የማላየው፣ ማናችንም የማናውቀው። ለሶሻል ወርከር ዋናው ሦስተኛው ነው። ቶሎ ቶሎ ሰዓቱን የሚያይ ባለሙያ ማየቱ አይታወቀውም፤ ፊቱ የተቀመጠችው እናት ግን አንዷም አታመልጣትም። ይህን ክፍል ብቻን ቁጭ ብሎ በማሰብ መክፈት አይቻልም፣ ሰው መንገር አለበት።

በ1983 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው ምሁር ዶናልድ ሾን ሥራው ላይ ሳሉ ማሰብንና ከሥራው በኋላ ማሰብን ለይቶ አስረዳ። የትምህርት ባለሙያው ግራሃም ጊብስ በ1988 እ.ኤ.አ. ነገሩን ለተማሪ በሚመች ስድስት ደረጃ አስቀመጠው፦ ምን ሆነ፣ ምን ተሰማኝ፣ ምኑ ጥሩ ምኑ መጥፎ ነበር፣ ለምን እንዲያ ሆነ፣ ሌላ ምን ማድረግ ይቻል ነበር፣ ቢደገም ምን አደርጋለሁ።

እኛ አገር የሙያው ትምህርት ቤት የተከፈተው በ1959 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ ነው። በደርግ ዘመን ተዘጋ። በ2004 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በማስተርስ ደረጃ መልሶ ከፈተው፣ ከዚያ ወዲህ ጎንደርን ጨምሮ ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ያስተምሩታል። ይህ ክፍተት ቀላል አይደለም። ጀማሪውን ቁጭ አድርጎ «እስቲ የትናንቱን ንግግር ንገረኝ» የሚል አንጋፋ ባለሙያ የሚፈጠረው በረጅም ጊዜ ነው፤ እኛ ዘንድ ደግሞ ሰንሰለቱ መሐል ላይ ተበጥሷል።

ቤት ለቤት ሲኬድ

የሥራው ትልቁ ክፍል ቢሮ ውስጥ አይደለም። ሰፈር ውስጥ ነው፣ በረንዳ ላይ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጦ። ባለቤቲቱ «እንዴት ናችሁ?» ሲሏት «ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ትላለች። ልጇ ትምህርት ካቋረጠ ሰንብቷል፣ የቤት ኪራይ አልተከፈለም፣ እሷ ግን ደህና ናት። ጀማሪ ባለሙያ ይህን መልስ እንዳለ መዝግቦ ይሄዳል። ወይም ደግሞ «ኧረ ደህና እንዳልሆናችሁ ሰምቻለሁ» ብሎ ጎረቤት ያወራውን ያወጣባትና በሩን ለዘለቄታው ያዘጋዋል።

ከዚያ ቡና ይመጣል። ቡናው ከጎረቤት በብድር የመጣ ሊሆን ይችላል፣ ባለሙያውም ይጠረጥራል። ምን ያድርግ? «አይ፣ ቸኩያለሁ፣ ሌላ ጊዜ» ቢል እሷ የምትሰማው «ቤትሽ አይመጥነኝም» የሚለውን ነው። ቢጠጣ ከሌላት ላይ ወሰደ። ለዚህ ደንብ ቢጻፍም አይጠቅምም። የሚጠቅመው ባለሙያው እምቢ ለማለት የፈለገበትን ምክንያት ለይቶ ማወቁ ነው። ለእሷ አዝኖ ነው? ድህነቷን ማየት አሳቅቆት ነው? ወይስ በእርግጥ ቸኩሎ? እውነቱን ካወቀ የሚለው ነገር አያጣም። «አንድ ስኒ ጠጥቼ እሄዳለሁ፣ ግን እያፈላሽ እናውራ» ማለት ይችላል፤ ደግሞም ብዙ ሴቶች ፊት ለፊት ተቀምጠው የማያወጡትን ነገር ቡናውን እየቆሉ፣ ዓይናቸው ብረት ምጣዱ ላይ ሆኖ ያወጡታል።

አጠራርም እንዲሁ ነው። ሸበቶውን ባለ ሱቅ «እርስዎ» ብሎ ያነጋገረ ወጣት፣ በዕድሜ የሚበልጡትን ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ የተቀመጡ ምስኪን እናት «አንቺ» ሲላቸው ይሰማል። ክፉ ሆኖ አይደለም፣ ልብስ አይቶ ነው አፉ የወሰነው። ይህን በራሱ ላይ ያየ ሰው ቶሎ ያርመዋል። ያላየው ሰው ግን ስለ ክብርና ስለ እኩልነት ሥልጠና ወስዶም «አንቺ» ማለቱን ይቀጥላል።

ከሐይቁ ዳር ያለው ፈተና

ባሕር ዳርን የሚያውቅ ሰው ነገደ ወይጦን ያውቃል። ከጣና ጋር ከማንም ቀድመው የኖሩ ናቸው ይባላል። ደንገል አጭደው ታንኳ ይሠራሉ፣ ዓሣ ያጠምዳሉ፣ ስፌት ይሰፋሉ። በእምነታቸው ሙስሊሞች ናቸው፣ የሚናገሩት አማርኛ ነው፣ የጥንት ቋንቋቸው ጠፍቷል። አያቶቻቸው ጉማሬ ያድኑና ይበሉ ስለነበር ጎረቤቱ አገለላቸው፤ አብሯቸው ማዕድ አልቆረሰም፣ ልጁን አልዳረላቸውም። ይህ የሩቅ ታሪክ ብቻ አይደለም፣ ዛሬም በቀልድና በስድብ ውስጥ ይሰማል።

እንግዲህ እዚሁ ከተማ ያደገ ባለሙያ ለሥራ ወደ አንድ የወይጦ ቤተሰብ ቤት ቢሄድ ራሱን ከማንም ሥልጠና በላይ የሚያውቅበት ቦታ ላይ ይደርሳል። በአፉ ሁሉም ሰው እኩል ነው ይላል፣ ያምንበታልም። ምግብ ሲቀርብለት ግን እጁ ቆም ሊል ይችላል። ያቺ ቅጽበት ለእሱ ምንም ናት። ለቤተሰቡ ግን ዕድሜያቸውን በሙሉ ሲያዩት የኖሩት ነገር ናት፣ ገና እጁ ሳይመለስ ያውቋታል። ከዚያ በኋላ ስለ ልጆቹ ትምህርት የሚጠይቀው ጥያቄ ሁሉ አጭር አጭር መልስ ያገኛል፣ ሪፖርቱም ላይ «ቤተሰቡ ለመተባበር ፈቃደኛ አይደለም» ተብሎ ይጻፋል። በጣም የሚያንገበግበኝ እንዲህ ዓይነቱ መስመር ነው። የባለሙያው ነገር የባለጉዳዩ ጥፋት ሆኖ ፋይል ውስጥ ይቀመጣል፣ ቀጥሎ የሚመጣው ሰራተኛም ያንን አንብቦ ይሄዳል።

ማድረግ የሚቻለው ከመሄድ በፊት ይጀምራል። ስለነሱ ከልጅነት ጀምሮ የሰማሁት ምንድን ነው? ከማን ሰማሁት? ከእነሱ ጋር በልቼ አውቃለሁ? እነዚህን ጥያቄዎች ለራሱ በሐቅ የመለሰ ሰው ቤቱ ሲደርስ እጁ ድንገት አያጋልጠውም።

አንድ ንግግር በሦስት ዓምድ

ለጀማሪ ከሁሉም በላይ የሚጠቅመው ፕሮሰስ ሪኮርዲንግ የሚባለው አሠራር ነው። ገጹ በዓምድ ይከፈላል። በመጀመሪያው የተባለው ቃል በቃል፣ በሁለተኛው በዚያ ሰዓት የተሰማኝ፣ በሦስተኛው አሁን ሳስበው የሚታየኝ ይጻፋል።

እንበል አንዲት የ15 ዓመት ልጅ በጣና ዙሪያ ካለ ገጠር ሊድሯት ሲሉ ተነስታ ባሕር ዳር መናኸሪያ ተገኘች። ባለሙያዋ አገኘቻት። የመጀመሪያው ዓምድ እንዲህ ይላል፦ እኔ፦ «ለምን ጠፋሽ?» እሷ፦ አንገቷን ደፋች። እኔ፦ «አይዞሽ፣ እንደ እህትሽ ቁጠሪኝ፣ ምሥጢርሽን ለማንም አልናገርም።» እሷ፦ «እሺ።»

ሁለተኛው ዓምድ፦ ዝምታዋ ጨነቀኝ። እናቷ ላይ ተናደድኩ። የራሴ ታናሽ እህት ትዝ አለችኝ።

ሦስተኛው ዓምድ፦ «ለምን ጠፋሽ» ስላት ጥፋተኛ አድርጌያት ነው የጀመርኩት። «አይዞሽ» ያልኩት እሷን ለማጽናናት ሳይሆን የራሴን ጭንቀት ለማስተንፈስ ነው። ምሥጢር አልናገርም ማለቴም እውነት አይደለም፤ ያለዕድሜ ጋብቻ በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 648 የሚያስቀጣ ስለሆነ ጉዳዩ ፖሊስ ጋር መድረሱ አይቀርም፣ ያን ጊዜ ከዳችኝ ትላለች። «እሺ» ማለቷም መስማማት አይደለም፣ ለትልቅ ሰው የሚሰጥ መልስ ነው።

አንድ ገጽ ነው፣ ግን የሚቀጥለውን ንግግር ይለውጠዋል። በሚቀጥለው «ማታ የት አደርሽ? እህል ቀምሰሻል?» ተብሎ ይጀመራል። ምሥጢሩ እስከየት እንደሚጠበቅ፣ ከማን ጋር መነጋገር ግዴታ እንደሆነ ቀድሞ ይነገራታል። ዝም ስትል ዝም ይባላል። ቁጣውም ጉዳይ ነው፣ ምክንያቱም ባለሙያዋ ነገ ከእናትየዋ ጋር መነጋገሯ አይቀርም። እናትየዋ «ወግ ማዕረግ ላሳያት ብዬ እኮ ነው» ልትል ትችላለች፣ ከልቧም ነው። በቁጣ የሄደ ሰው ይህን አይሰማም። ቁጣውን አውቆ የሄደ ግን ሕጉን ሳያለዝብ፣ 18 ዓመት ሳይሞላ ጋብቻ እንደማይፈቀድ በግልጽ ነግሮ፣ እናትየዋን ከልጇ ጎን ለማቆም ዕድል አለው።

የራስ ቁስልና የራስ እምነት

ስለ ጸበል ጥቂት ልበል። አእምሮው የታመመ ሰው ያላቸው ቤተሰቦች ከሆስፒታል በፊት ወይም ከሆስፒታል ጎን ለጎን ጸበል ይሄዳሉ። አማኝ ባለሙያ ሳይታወቀው መድኃኒቱን ችላ ሊል ይችላል፣ ሌላው ደግሞ በፊቱ ብቻ ሊንቃቸው ይችላል። ሁለቱም የራሳቸውን አቋም አውቀው ከያዙት «ጸበሉንም ተጠመቁ፣ መድኃኒቱንም አታቋርጡ» የሚለው ንግግር ሳይጋጭ ይሄዳል።

የጦርነቱ ጉዳይ ግን ከባድ ነው። ካለፉት ዓመታት ወዲህ በክልሉ ተፈናቃይ፣ ቤተሰቡን ያጣ፣ ያየውን መናገር የማይችል ሰው በዝቷል። ባለሙያውም የዚሁ አገር ሰው ነው። እሱም ወንድሙ ያለበትን አካባቢ በስልክ እያጣራ ነው ሥራ የሚገባው። እንዲህ ያለ ሰው የሌላውን ሐዘን ሲሰማ ከሁለት አንዱን ያደርጋል፤ አብሮ ይሰምጣል፣ ወይም ልቡን ዘግቶ ፎርም ወደ መሙላት ይሮጣል። እንቅልፍ ማጣት፣ በትንሹ መቆጣት፣ «ይህቺስ ምን ሆነች፣ የባሰ አለ» ማለት ምልክቶች ናቸው። ስንፍናም ጭካኔም አይደሉም፣ ብቻውን የተሸከመ ሰው ድካም ነው።

ብቻን አይሆንም

የማኅበራዊ ሥራ ምሁሩ አልፍሬድ ካዱሺን ሱፐርቪዥን፣ ማለትም አንጋፋው የሌላውን ባለሙያ ሥራ የሚከታተልበት አሠራር፣ ሦስት ሥራ አለው ይላል፦ ማስተዳደር፣ ማስተማርና መደገፍ። በእኛ ቢሮዎች በብዛት የሚታየው የመጀመሪያው ነው። ስንት ኬዝ ታየ፣ ስንት ተዘጋ፣ ሪፖርቱ መቼ ይገባል። ፎርሙ ላይ «ባለሙያው በዚህ ንግግር ምን ተማረ» የሚል መስመር የለም፣ ለዚያ የሚሆን ሰዓትም አይመደብም። ራሳችሁን ፈትሹ ብሎ ባለሙያን መምከር፣ ጊዜና ሰሚ ሳይሰጡት፣ ሸክሙን መልሶ በእሱ ላይ መጫን ነው።

ደግሞ እኛ አገር አንድ የተለመደ መሳት አለ። ራስን መፈተሽ ንስሐ ይሆናል። ባለሙያው «አጠፋሁ፣ አላወቅኩም» ይልና እዚያው ይቆማል፣ ጓደኞቹም «ኧረ ምንም አላጠፋህም» ብለው ያጽናኑታል። ንስሐ ከነፍስ አባት ጋር ነው፣ እዚህ የሚፈለገው ሌላ ነው። ቃሉ ምን ነበር፣ ከምን መጣ፣ ሐሙስ ስትመጣ ምን እላታለሁ።

ሱፐርቫይዘር በሌለበት ሦስት አራት ሆነው በሳምንት አንድ ሰዓት የሚቀመጡ ባልደረቦች ብዙ መሥራት ይችላሉ። አንዱ አንድ ገጽ ያነባል፣ ሌሎቹ ይጠይቁታል፣ ምክር አይሰጡትም። ከተማዋ ትንሽ ስለሆነች ስም መደበቅ ብቻ አይበቃም፤ «ሽምብጥ ሰፈር የምትኖረው፣ ባሏ ሹፌር የነበረው» ከተባለ ግማሹ ያውቃታል። ስለዚህ ሰፈሩም፣ ሥራውም፣ የልጆቹ ቁጥርም ይቀየራል። ደብተሩ ቤት አይወሰድም፣ ቢሮ ተቆልፎ ያድራል። በስልክ ፎቶ አይነሳም፣ ቴሌግራም ግሩፕ ላይም አይወራም።