«በእንቁላሉ ጊዜ በቀጣሽኝ»፦ የአንድ አባባል ትርጉምና የብሪታንያ የገቢ ግብር

«እናቴ፣ በእንቁላሉ ጊዜ በቀጣሽኝ» የሚለው አባባል እንደ ሰዋስው ጎደሎ ዐረፍተ ነገር ነው። ተናጋሪው «በቀጣሽኝ» ብሎ ይቆማል፤ «ኖሮ ለዚህ ባልበቃሁ» የሚለውን ቀሪ ክፍል ሰሚው በልቡ ይሞላዋል፤ መሙላት የሚችለውም ከአባባሉ ጀርባ ያለውን ተረት በልጅነቱ ስለሰማ ነው።

ተረቱ እንዲህ ነው። አንድ ሕፃን ከጎረቤት ቤት እንቁላል ሰርቆ ለእናቱ ያመጣላታል። እናቱም ከየት አመጣኸው ብላ በመጠየቅ ፈንታ «ጎሽ፣ የኔ ልጅ» ብላ ጠብሳ አብራው ትበላለች። ልጁ ከፍ ሲል ዶሮ፣ ቀጥሎ ፍየል፣ ሲጎረምስ ደግሞ በሬ ይሰርቃል። በበሬው ይያዝና ስቅላት ይፈረድበታል። ገመዱ ሥር ሳለ እናቱን ልሰናበት ብሎ ይለምናል፤ ስትቀርበው የሚስማት መስሎ ጆሮዋን ይነክሳታል። የተሰበሰበው ሰው «ምን ዓይነት አረመኔ ነው!» ብሎ ሲጮህበት፣ «እናቴ፣ በእንቁላሉ ጊዜ በቀጣሽኝ ኖሮ ዛሬ በበሬው ባልተሰቀልኩ» ይላል።

ከጥንታውያን ግሪኮች ተረቶች መካከል ይህን በጣም የሚመስል አለ፤ እዚያ መጀመሪያ የሚሰረቀው ግን የትምህርት ቤት ጓደኛ የመጻፊያ ሰሌዳ ነው። እንደ እኔ አስተያየት የእኛው ተረት የተሻለ ዕቃ መርጧል። ሰሌዳ ቢሰረቅም ሰሌዳ ሆኖ ይቀራል፤ እንቁላል ግን ዝም ከተባለ በውስጡ የሚያድግ ነገር አለው። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እያልን ታጋሽ ሰው የምናበረታታበት እንቁላል ራሱ፣ እዚህ ላይ የጥፋት ምሳሌ ሆኖ በእግሩ ይሄዳል።

አባባሉን ብዙ ጊዜ የምንጠቀምበት ልጁ የባለገበትን ወላጅ ለመውቀስ ቢሆንም፣ ጠበቅ አድርጎ ለተመለከተው ሰው ትርጉሙ ከልጅ አስተዳደግ ይሰፋል። ተናጋሪው ጥፋተኛው ራሱ ነው፤ ጥፋቱንም አይክድም። ወቀሳው የሚያርፈው በእጇ ባልሰረቀችው፣ ነገር ግን የተሰረቀውን ጠብሳ አብራ በበላችው ሴት ላይ ነው። በፍርዱ ቀን ከሁሉም በላይ የምታለቅሰውም እርሷ መሆኗ የተረቱ መራራ ቦታ ነው።

እኔ ለንደን የምኖር፣ ድምፄንም ለወግ አጥባቂው ፓርቲ ስሰጥ የቆየሁ ሰው ነኝ። ኖቬምበር 26 ቀን 2025 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የሌበር ፓርቲ መንግሥት የገንዘብ ሚኒስትር ሬቸል ሪቭስ የገቢ ግብር እርከኖች እስከ ኤፕሪል 2031 ድረስ ባሉበት እንደሚቆዩ ሲያውጁ፣ የእኛ ወገን አጥብቆ ተቃወመ። ተቃውሞው ትክክል ነበር፤ እኔም ተቆጥቻለሁ። ይሁን እንጂ ያቺ ገመዱ ሥር የምታለቅስ እናት ከዐይኔ አልጠፋ አለች፤ እንቁላሉ ወደ ቤት የገባው በእኛ ዘመን ነበርና።

ነገሩ የጀመረው ማርች 3 ቀን 2021 ነው። የወግ አጥባቂው መንግሥት የገንዘብ ሚኒስትር የነበሩት ሪሺ ሱናክ በዚያ ቀን ባቀረቡት በጀት ከግብር ነፃ የሆነውን ዓመታዊ የገቢ ወለል 12,570 ፓውንድ፣ የ40 በመቶ ግብር የሚጀምርበትን እርከን ደግሞ 50,270 ፓውንድ ካደረሱ በኋላ፣ ሁለቱም እስከ ኤፕሪል 2026 ሳይነኩ እንዲቆዩ አደረጉ። ለእውነት ሲባል መነገር ያለበት፣ ሰውየው ነገሩን አልሸሸጉም፤ የማንም ሰው ወደ ቤት የሚወስደው ደመወዝ እንደማይቀንስ፣ ነገር ግን እርከኖቹ ከዋጋ ንረት ጋር አብረው ቢያድጉ ኖሮ ይገኝ የነበረው ጥቅም እንደሚቀር በምክር ቤቱ ፊት ተናግረዋል። የወረርሽኙን ወጪ አንድ ሰው መክፈል ነበረበት። በዚያ ወር የዋጋ ንረቱ ከ1 በመቶ በታች ስለነበር ውሳኔው በእርግጥም እንቁላል ያህል ነበር፤ እኛም ጠብሰን በላነው።

ኦክቶበር 2022 ላይ የዋጋ ንረቱ 11.1 በመቶ ደረሰ። ያን ጊዜ እርከኖቹን መልሶ ከዋጋ ጋር ማሳደግ የሚገባበት ሰዓት ነበር፤ ነገር ግን የእኛው የገንዘብ ሚኒስትር ጄረሚ ሃንት በቀጣዩ ወር ባቀረቡት በጀት እገዳውን እስከ ኤፕሪል 2028 አራዘሙት። ዶሮዋ የተሰረቀችው ያን ዕለት ነው፤ ሌቦቹም አሁንም እኛው ነበርን። ሪቭስ በበኩላቸው ኦክቶበር 30 ቀን 2024 ባቀረቡት የመጀመሪያ በጀት፣ እገዳውን ከዚያ በላይ ማራዘም ሠራተኛውን ሰው ይጎዳል፣ ከደመወዝ ወረቀቱም ላይ ገንዘብ ይወስዳል ብለው እንደማያራዝሙት ተናገሩ። አንድ ዓመት ከአንድ ወር ያህል ቆይተው ግን ሦስት ዓመት ጨመሩበት፤ በሬውም ተነዳ።

አሠራሩን ለማያውቅ አንባቢ የደመወዝ ወረቀት ማየት ይበቃል። ብሪታንያ ውስጥ አንድ ሥራ ብቻ ያለው ተራ ሠራተኛ በወረቀቱ ጥግ ላይ 1257ኤል የሚል የግብር ኮድ ያገኛል፤ ቁጥሩ ከ12,570 የመጨረሻው ዜሮ ተቆርጦ የቀረው ነው። የእኔ ወረቀት ከኤፕሪል 2021 ወዲህ የዳቦው፣ የኪራዩና የአውቶቡሱ ዋጋ ሁሉ ሲለወጥ ያንን ኮድ እንደ ክታብ ይዞ ቆይቷል። በ2021 በዓመት 25,000 ፓውንድ ያገኝ የነበረ ሰው ከ12,570 በላይ ባለው 12,430 ፓውንድ ላይ 20 በመቶ፣ ማለትም 2,486 ፓውንድ የገቢ ግብር ይከፍል ነበር። ዋጋውም ደመወዙም እኩል በ25 በመቶ ጨመሩ እንበል። ሰውየው አሁን 31,250 ፓውንድ ያገኛል፤ የሚገዛው ዳቦ ግን ያው የበፊቱን ያህል ነው። ግብሩ 3,736 ፓውንድ ይሆናል። ኑሮው አንዲት ስንዝር ሳይሻሻል ግብሩ በ50 በመቶ አደገ፤ የግብር መጣኔው ግን ትናንትም 20 በመቶ ነበር፣ ዛሬም 20 በመቶ ነው። የምጣኔ ሀብት ሰዎች ይህን ፊስካል ድራግ ይሉታል። ከ2016 እስከ 2025 ድረስ 600 ብር ላይ ቆሞ የነበረውን ከግብር ነፃ ወለል ያየ የኢትዮጵያ ደመወዝተኛ ስሙን ባያውቀውም ነገሩን ያውቀዋል።

አባባሉን ከግብር ጋር ያያያዝኩት ግብር ስርቆት ነው ለማለት አይደለም። ወግ አጥባቂ ሰው ሠራዊት፣ ፍርድ ቤትና ሆስፒታል በምን እንደሚተዳደሩ ያውቃል። ቅሬታዬ ስለ ፈቃድ ነው። የዚህች አገር ፖለቲካ ከተገነባባቸው መሠረቶች አንዱ ንጉሥ ያለ ፓርላማ ፈቃድ ገንዘብ አይሰብስብ የሚለው የ1689ኙ የመብቶች ሕግ ነው። የእርከን እገዳው በፓርላማ ስለጸደቀ ሕጋዊ ነው፤ መራጩ ግን በድምፅ መስጫው ጊዜ አያየውም፣ ደመወዙ በጨመረ ቁጥር ብቻ ይሰማዋል። በ1977 ይህንኑ የተረዱ ሁለት የሌበር ፓርቲ የምክር ቤት አባላት፣ ጄፍ ሩከርና ኦድሪ ዋይዝ፣ የራሳቸውን መንግሥት ተቃውመው ከግብር ነፃው ወለል በየዓመቱ ከዋጋ ጋር እንዲያድግ፣ መንግሥት ካልፈለገ ደግሞ ፓርላማውን በግልጽ እንዲጠይቅ የሚያስገድድ ማሻሻያ አስገቡ። ከተቃዋሚው ወገን የደገፋቸው ኋላ የገንዘብ ሚኒስትር የሆነው ወግ አጥባቂው ናይጄል ሎውሰን ነበር። እንቁላሉን በጊዜው የቀጡ እናቶች ቢባሉ እነዚህ ናቸው፤ ሁለቱ ደግሞ የቀጡት የገዛ ልጃቸውን ነው።

የማርጋሬት ታቸርም መንግሥት ቢሆን ከዚህ ንጹሕ አልነበረም። የገንዘብ ሚኒስትሯ ጄፍሪ ሃው በ1981 በጀት የዋጋ ንረቱ ከ10 በመቶ በላይ ሳለ ወለሉን ሳይጨምር ቀረ። ነገር ግን ያ ለአንድ ዓመት፣ በጠራራ ፀሐይ የተደረገ ነበር፤ 364 የምጣኔ ሀብት ምሁራን በጋዜጣ ተቃውሟቸውን አወጡበት፣ መንግሥቱም ቆሞ ተከራከረ። የ2021ዱ እገዳ ግን በሦስት የገንዘብ ሚኒስትሮች እጅ አልፎ አሥር ዓመት ሊሞላ ነው።

ለምን እንዲህ ሆነ ከተባለ መልሱ ያለው በሁለቱ ፓርቲዎች ማኒፌስቶ ውስጥ ይመስለኛል። በ2019 እኛ፣ በ2024 ደግሞ ሌበር፣ የገቢ ግብርን፣ የናሽናል ኢንሹራንስን (ሠራተኛውና አሠሪው ከደመወዝ ላይ የሚከፍሉትን መዋጮ) እና የተጨማሪ እሴት ታክስን መጣኔ አንጨምርም ብለን ማልን። መሐላው የሚጠብቀው መጣኔውን ነው፤ ስለ እርከኑ ዝም ይላል። እንግዲህ ወጪው እያደገ በሩ ሲዘጋበት በመስኮት መግባቱ አይገርምም። ሌበር ሌላም መስኮት አግኝቷል፤ ከኤፕሪል 2025 ጀምሮ አሠሪው የሚከፍለው ናሽናል ኢንሹራንስ ከ13.8 ወደ 15 በመቶ ከፍ ሲል፣ መክፈል የሚጀምርበት የደመወዝ ወለል ከ9,100 ወደ 5,000 ፓውንድ ዝቅ ብሏል፤ ይህም ከሁሉ በላይ የሚከብደው ዝቅተኛ ደመወዝ ያላቸውን ሰዎች ለሚቀጥር ምግብ ቤትና ሱቅ ነው። ከ100,000 ፓውንድ በላይ የሚያገኝ ሰው ነፃ ወለሉን ቀስ በቀስ እንዲያጣ፣ በዚያም ምክንያት እስከ 125,140 ፓውንድ ባለው ገቢ ላይ በተግባር 60 በመቶ እንዲከፍል ያደረገውን የ2010 የሌበር ሕግ ደግሞ እኛ በ14 የሥልጣን ዓመታት አልነካነውም። ያንንም በልተነዋል።

አንዳንድ ወዳጆቼ «ሊዝ ትረስ ለመቅጣት ሞክራ ነበርኮ» ይሉኛል። አይመስለኝም። ትረስ የእኛ ጠቅላይ ሚኒስትር ሳለች በሴፕቴምበር 2022 የቀረበው ያ በጀት ግብሩን የቀነሰው ወጪውን ሳይነካ በብድር ነበር፤ ፓውንዱ ወደቀ፣ የመንግሥት ብድር ወለድ ናረ፣ እርሷም ሁለት ወር ሳትሞላ ወረደች። ሃው ግን በ1979 የገቢ ግብር መሠረታዊ መጣኔን ከ33 ወደ 30 በመቶ ሲቀንስ የተጨማሪ እሴት ታክስን በዚያው ቀን ወደ 15 በመቶ ከፍ አድርጎ ሒሳቡን በገሃድ አሳይቷል። መራጩ በ2024 ወንበራችንን ወደ 121 ሲያወርድ፣ ከእኛ በስተቀኝ ላለው ሪፎርም ዩኬ ፓርቲም 14 በመቶ ያህል ድምፅ ሲሰጥ፣ የነከሰው ጆሮ የማን እንደነበር ግልጽ ነው።

በነገራችን ላይ የገቢ ግብር የመጀመሪያው እንቁላል ከዚህ ሁሉ ይቀድማል። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ዊልያም ፒት ታናሹ በ1799 ለፈረንሳይ ጦርነት ብሎ ጀመረው፤ በ1816 ተሻረ፤ በ1842 ወግ አጥባቂው ሰር ሮበርት ፒል «ለሦስት ዓመት ብቻ» ብለው መለሱት። እስከ ዛሬ በሕግ ጊዜያዊ ነው፤ በየዓመቱ ኤፕሪል 5 ቀን ያበቃና ፓርላማው እንደገና ያጸድቀዋል። አዲሱ የግብር ዓመት የሚጀምርበት ኤፕሪል 6 በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 28 ነው። ይህም እንግሊዞች በ1752 ከአሮጌው አቆጣጠር 11 ቀን ሲቆርጡ የሒሳብ ዓመታቸው ከጥንቱ የብሥራት በዓል፣ ማለትም ከእኛው መጋቢት 29 አካባቢ፣ ስላልተነቀለ ነው።

በአሁኑ ጊዜ የፓርቲያችን መሪ ኬሚ ባዲኖክ የመኖሪያ ቤት ሲገዛ የሚከፈለውን ስታምፕ ዲዩቲ ለማንሳት ቃል ገብተዋል፤ እደግፈዋለሁ። ከዚያ በፊት ግን የ2021ዱ እንቁላል ስሙ ተጠርቶ በእኛው አፍ ቢነገር፣ ሌበርን ስንወቅስ የሚሰማን ሰው ይበረክት ነበር። የእገዳው ነገር ሀብታምን ብቻ የሚነካ የሚመስለው ካለ የጡረተኛውን ሒሳብ ይመልከት። ሙሉው አዲስ የመንግሥት ጡረታ ከኤፕሪል 2026 ጀምሮ በሳምንት 241 ፓውንድ ከ30 ፔንስ ነው፤ በ52 ሳምንት ሲባዛ 12,547 ፓውንድ ከ60 ፔንስ ይመጣል። ከነፃው ወለል የሚለየው 22 ፓውንድ ከ40 ፔንስ ብቻ ሲሆን፣ ጡረታው በሕግ በየዓመቱ ያድጋል፤ ወለሉ ግን እስከ 2031 አይነቃነቅም። ሪቭስ ከዚህ ጡረታ ሌላ ገቢ የሌለው ሰው ግብሩን እንዲከፍል እንደማይጠየቅ ተናግረዋል። ባንክ ካስቀመጠው ጥሪት ወይም ከድሮ መሥሪያ ቤቱ በወር ጥቂት ፓውንድ የሚመጣለት ጎረቤቱ ግን ከኤፕሪል 2027 ጀምሮ ከመንግሥት ጡረታው ላይ ሳይቀር ግብር ይከፍላል።